እርጥብ ድንጋይ ወይስ እርጥብ ካርቶን

(ወላይታ ሶዶ፤ ቅዳሜ ረፋድ። የእትዬ አሳየሽ ቤት በረንዳ። ጠረጴዛው ላይ አሁን የተከፈተ የነጭ ወይን ጠርሙስና ሦስት ብርጭቆ።)

ዓምደሚካኤል፦ ድንጋይ ነው አልኩዎት እኮ! እርጥብ ድንጋይ!

አሳየሽ፦ ካርቶን ነው። ዝናብ የመታው ካርቶን።

ዓምደሚካኤል፦ እትዬ አሳየሽ፣ ወይን ውስጥ ካርቶን ምን ይሠራል?

አሳየሽ፦ ድንጋይስ ምን ይሠራል?

(ዓምደሚካኤል ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ያስተምራል፤ ተመድቦ ሶዶ ከገባ ጀምሮ የሚኖረው እዚሁ እትዬ አሳየሽ ሰርቪስ ቤት ነው። ዛሬ ልቡ አርፎ አልቀመጥ ብሏል። ዱቦ ሆስፒታል የምትሠራው ዶክተር ባርኮት ለምሳ ትመጣለች። ባርኮት ብርድ አገር ተምራ የመጣች ናት፤ ባለፈው ሳምንት ስለ ቻርዶኔ ወይን ስታወራለት፣ ምላሱ ቀድሞት «እሱንማ አሳምሬ አውቀዋለሁ» ብሏት አረፈ። ከዚያ ወዲህ ስለ ወይን ስልኩ ላይ ያላነበበው የለም። ጠርሙሱንም ከአዲስ አበባ እስከ ሶዶ አውቶቡስ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው ያመጣው። አሁን ከመምጣቷ በፊት ይለማመዳል። ተማሪው ደግሞ ሠላሳ ዓመት ቅቤ የነገዱት አከራዩ ናቸው።)

ዓምደሚካኤል፦ ከመጀመሪያው እንጀምር። ብርጭቆውን እንዲህ ያዙሩት። አሁን ጎኑን ይዩት፤ ቀስ እያለ የሚወርደው እንባ ይባላል።

አሳየሽ፦ ያለቅሳል?

ዓምደሚካኤል፦ ስሙ ነው እንጂ አያለቅስም።

አሳየሽ፦ የሚያለቅስ ነገር ምን ሆንክ ይባላል እንጂ ይጠጣል እንዴ?

ዓምደሚካኤል፦ እሺ፣ እንባውን ይተዉት። ያሽትቱት። አይጠጡም አውቃለሁ፤ ማሽተት ብቻ።

አሳየሽ፦ ቤተ ክርስቲያን ቃል የገባሁት በአፌ ነው። አፍንጫዬ አልማለም። (አሸተቱ።) ካርቶን!

ዓምደሚካኤል፦ ገና ስላልተነፈሰ ነው። ወይን ሲከፈት ትንሽ መተንፈስ አለበት።

አሳየሽ፦ የሚተነፍሰውስ እኛ ላይ ነው። ልጄ፣ ክደነው።

ዓምደሚካኤል፦ (ስልኩን እያየ) ይስሙኝ። ይሄ ወይን የበቀለው ብርድ አገር ነው። እዚያ ወይኑ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። ስለዚህ ይኮመጥጣል፣ ጠረኑም ስስ ነው። ገባዎት?

አሳየሽ፦ አልገባኝም።

ዓምደሚካኤል፦ እንዴት ላስረዳዎት? ሳይንስ ነው፣ ይከብዳል።

አሳየሽ፦ ቆይ እስቲ። ዲምቱ ቆላ ነው። ፀሐይዋ ፍሬውን አጣድፋ ታበስለዋለች፤ ይጣፍጣል፣ ማር ነው፤ ሽታው ግን ገበያ ሳይደርስ ያልቃል። ዳሞታ ተራራ አናት ላይ የበቀለ ኮክ ደግሞ ብርድ እየመታው፣ ጉም እየተኛበት፣ ተለምኖ ነው የሚበስለው። ፊትህን ያስጨማድድሃል። ግን እጅህን ታጥበህም ሽታው አይለቅህም። እንደዚያ ነው?

ዓምደሚካኤል፦ (ስልኩን አየ፤ እሳቸውን አየ።) እ... ከሞላ ጎደል።

አሳየሽ፦ ታዲያ እንደዚያ አትልም? ሳይንስ ነው እያልክ ታስፈራራኛለህ።

ዓምደሚካኤል፦ ቀጥሎ ያለው ደግሞ የእርስዎ ሙያ ነው። ቻርዶኔ ቅቤ ቅቤ ይላል።

አሳየሽ፦ ማን ጨመረበት?

ዓምደሚካኤል፦ ማንም። ራሱ ነው የሚያመጣው።

አሳየሽ፦ ልጄ፣ ሙዝ ደባልቆ ቅቤ ነው የሚለኝን ነጋዴ በአፍንጫዬ ለይቼ ከገበያ አባርሬያለሁ። ራሱን ችሎ የመጣ ቅቤ ግን አላየሁም። ላም ያስፈልጋል።

ዓምደሚካኤል፦ ያለ ላም ነው እኮ የምልዎት!

አሳየሽ፦ (እንደገና አሸተቱ።) ቅቤም የለው፣ ላምም የለው። ይህ ነገር ታሟል። ለእንግዳ አይቀርብም።

ዓምደሚካኤል፦ እትዬ አሳየሽ፣ ከሦስት አገር የተጻፈ አንብቤያለሁ። እርጥብ ድንጋይ ይላል። የብርድ አገር ወይን መለያው ነው!

አሳየሽ፦ አንተ አንብበሃል፤ እኔ አሸትቻለሁ። (የግቢው በር ተንኳኳ።) በል ተነሣ፣ ሙሽራው! ኮሌታህን አስተካክል።

(ባርኮት ገባች። ከሚኒባስ ወርዳ አቀበቱን በእግሯ ስለወጣች ታለከልካለች፤ ትከሻዋ ላይ ቦርሳ አንጠልጥላለች።)

አሳየሽ፦ ሳሮ፣ ሳሮ! ነይ ልጄ፣ አረፍ በይ። የምሳው ሙቹዋ ሊደርስ ነው፤ ቅቤው የራሴ ነው።

ባርኮት፦ ሳሮ እትዬ! ሽታው እኮ ከበር ተቀበለኝ።

ዓምደሚካኤል፦ (ብርጭቆ አቀበላት፤ ጉሮሮውን ጠረገ።) ባርኮት፣ ይሄ... የብርድ አገር ቻርዶኔ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚመጣልሽ እርጥብ ድንጋይ ነው። ከወንዝ የወጣ፣ ንጹሕ ድንጋይ። ተሰማሽ?

ባርኮት፦ (አሸተተች። እንደገና አሸተተች።) እ... ድንጋይ...

አሳየሽ፦ (ፈጠን ብለው) የእኔ ጥፋት ነው ልጄ! ጓዳ ውስጥ ዝናብ የመታው ካርቶን አለ፤ ሽታው ቤቱን ይዞት ነው። ወይኑ ምንም አልሆነ። ጨዋ ወይን ነው።

(ዓምደሚካኤል ዞሮ አያቸው። ጓዳውን ጠዋት አብረው ጠርገውታል፤ ካርቶን የሚባል የለም። ለአንዲት ማንኪያ ቅቤ እንኳ የማይዋሹት ሴትዮ፣ እሱ እንዳያፍር ብለው ንጹሕ ጓዳቸውን አሳሙለት። ጆሮው ድረስ ጋለ።)

ዓምደሚካኤል፦ ጓዳ ካርቶን የለም።

አሳየሽ፦ አለ! አንተ አላየኸውም እንጂ...

ዓምደሚካኤል፦ የለም እትዬ። ባርኮት፣ የሸተተሽ ወይኑ ነው። እሳቸው ገና ሲከፈት ነግረውኝ ነበር። እኔ ነኝ ድንጋይ ነው ብዬ ድርቅ ያልኩት። እውነቱን ልንገርሽ፤ ቻርዶኔ አፍንጫዬ ስር ሲደርስ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

(ባርኮት ብርጭቆውን አስቀመጠች። ትስቃለች ወይስ ትቆጣለች ብሎ ሲጠብቅ፣ አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።)

ባርኮት፦ ከወንዝ የወጣ፣ ንጹሕ ድንጋይ! እንዴት አድርገህ ነው ሳትስቅ ያልከው?

ዓምደሚካኤል፦ አጥንቼው ነው።

ባርኮት፦ ጥፋቱ የቡሹ ነው። ቡሹ ሲበላሽ ወይኑን እንዲህ ያደርገዋል። የተማርኩበት አገር ቀማሾቹ ምን እንደሚሉት ታውቃለህ? እርጥብ ካርቶን።

አሳየሽ፦ (ዝቅ ባለ ድምፅ) እኔ ምንም አልተናገርኩም።

ባርኮት፦ እኔም ባዶ እጄን አልመጣሁም። (ከቦርሳዋ ሌላ ጠርሙስ አወጣች፤ ከፍታ ትንሽ ቀዳች።) እስቲ ይሄን። ማን ይጀምር?

(የዓምደሚካኤል እጅ በልማድ ወደ ብርጭቆው ሄደ። መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀየረና ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ለእትዬ አሳየሽ አቀረበ።)

አሳየሽ፦ (ዓይናቸውን ጨፍነው) ኣ፣ ይሄ ጤነኛ ነው። ፊት ለፊት የጨንቻ አፕል መጣ፤ ሳይበስል የተቀጠፈ። ከኋላው ሎሚ አለ። ጭማቂው አይደለም፣ ልጣጩ። ከዚያ... ኧረ! ኦይሳ፣ ቅቤ! በስማም፣ ቅቤ አለው! ለጋ፣ የትናንት ቅቤ፣ ኮባ ላይ ያደረ።

ባርኮት፦ (ጠርሙሱን አዙራ ጀርባውን እያነበበች) አረንጓዴ አፕል... የሎሚ ልጣጭ... ለጋ ቅቤ። (ቀና አለች።) እትዬ፣ ኮባውን ብቻ አልጻፉትም!

አሳየሽ፦ ረስተውት ነው። ኮባውን የማያውቁ ይሆናሉ።

(ዓምደሚካኤል ኪሱን ዳበሰ፤ እስክሪብቶ አገኘ፤ ወረቀት አጥቶ መዳፉ ላይ መጻፍ ጀመረ።)

ዓምደሚካኤል፦ ይቅርታ እትዬ፣ ከአፕሉ ቀጥሎ ያሉት አመለጠኝ...

አሳየሽ፦ የሎሚ ልጣጭ። ቀስ ብለህ ጻፍ መምህር፣ ፈተና ላይ ይመጣል።