አዴ ዲንቄ ያላነበቡት ብልቃጥ

ሳሙና ገዝቶ በሰላም ቤቱ የገባ ሰው ካለ፣ ጎረቤቶቹ ማንበብ የማይወዱ መሆን አለባቸው። በየሰፈሩ አንድ አይታጣም፤ ገና ሰላም ሳይልህ የያዝከውን ዕቃ ከእጅህ ተቀብሎ፣ ገልብጦ ጀርባውን ማንበብ የሚጀምር ሰው። ፊት ለፊት የተሳለችው ቆንጆ ሴት አታጓጓውም። ስሙም ሽታውም ግድ አይሰጠውም። እሱ የሚፈልገው ከታች ያለውን፣ ጉንዳን የሄደበት የሚመስለውን ጥቃቅን ጽሑፍ ነው። አንብቦ ሲጨርስ ራሱን ይነቀንቃል፤ በደስታ የገዛኸው ዕቃ ያን ጊዜ እጅህ ላይ ይቀዘቅዛል።

በእኛ ሰፈር ይህን ሥልጣን የያዙት አዴ ዲንቄ ነበሩ፤ አዴ በኦሮምኛ እንደ እኛ እትዬ ነው። በሰባዎቹ አጋማሽ፣ ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳንርቅ እንኖር በነበረበት ጊዜ ማለቴ ነው። አዴ ዲንቄ የጤና ጣቢያ ጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ሃምሳን የተሻገሩ ሴት። እኛ በመካከላችን “የብልቃጦች ሊቀ መንበር” እንላቸው ነበር። እንዲህ ያለ ማዕረግ በዚያን ዘመን ጮክ ተብሎ አይጠራም፤ በሹክሹክታ ግን ያምርባቸው ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው። ፊደል ያስቆጠርኳቸው እኔ ነኝ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የታወጀ ጊዜ በቀበሌው አዳራሽ አርባ ያህል ጎልማሶች ተመድበውልኝ ነበር። አብዛኞቹ ስማቸውን መጻፍ እንደቻሉ እፎይ ብለው ቀሩ። አዴ ዲንቄ ግን የምስክር ወረቀታቸውን በተቀበሉ በሳምንቱ ቤቴ መጡና “መምህር፣ በል አሁን የሚነበብ ስጠኝ” አሉኝ። የሁለት ሳምንት ጋዜጣ ሰጠኋቸው። በማግስቱ መለሱልኝ።

“ይሄ እኮ ያለፈው ሳምንት ያለውን ነው የሚደግመው” አሉ።

ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ለመንኳቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ብልቃጥ የዞሩት። የጤና ጣቢያውን ባዶ ካርቶንና ጠርሙስ የሚጥሉት እሳቸው ናቸው፤ በየቀኑ የሚነበብ ነገር በእጃቸው ያልፋል። ችግሩ ጽሑፉ በፈረንጅ ፊደል መሆኑ ነው። “እሱንም አስተምረኛ!” አሉ። ኤ ቢ ሲ ዲን በሁለት ወር ጨረሱት። ቃሉን ይለቅሙታል እንጂ ትርጉሙን አያውቁትም፤ ስለዚህ በደብተር እየገለበጡ የመድኃኒት ክፍል ኃላፊው አቶ ብዙነህ ዘንድ ይወስዱታል። አቶ ብዙነህ ዝምተኛ፣ መነጽራም ሰው ናቸው። ወፍራም መጽሐፋቸውን ገልጠው ይነግሯቸዋል፤ ይህ ስብ ነው፣ ይህ ሽቶ ነው፣ ይህ እንዳይበላሽ የሚጨመር ነው። ከሁሉ በላይ ሁለት ነገር አስተማሯቸው፤ መጀመሪያ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በብዛት ያለው መሆኑን፣ አንድ ነገርም በየአገሩ ቋንቋ ስሙ እንደሚለዋወጥ። አዴ ዲንቄ በነዚህ በሁለቱ ነገሮች ከተማውን አስጨነቁት።

“ማልቱ ኬሳ ጂራ?” ይላሉ፤ ውስጡ ምን አለ? በአማርኛ የጠየቁ እንደሆነ ማምለጫ ይኖርሃል። በኦሮምኛ ከጠየቁ ግን ዕቃውን አስረክቦ ዝም ማለት ነው።

የሰፈሩ ሴቶች “የእባብ ስብ” እያሉ የሚሻሙበት የፀጉር ቅባት ነበር፤ ጣሳው ላይ የተጠቀለለ እባብ ተስሎበታል። አዴ ዲንቄ አነበቡትና “እባቡ ያለው ጣሳው ላይ ብቻ ነው” ብለው ፈረዱ። “ውስጡ ቫዝሊን ነው። አረንጓዴ የሆነው ቀለም ገብቶበት ነው። ቫዝሊን ከፈለጋችሁ እኔ ጋ ኑ፣ ያለ እባብ አለ።” ፀጉሬ በዚህ ቅባት እስከ ወገቤ ደርሷል ስትል የነበረች አንዲት ጎረቤታችን ለሁለት ወር አኮረፈቻቸው። ፀጉሯ ግን እንደ ረዘመ ነበር፤ ይህን ደግሞ የሚያስረዳ ጽሑፍ አልተገኘም።

የቀበሌያችን እውነተኛ ሊቀ መንበር ጓድ ወልደአማኑኤል እንኳ አልተረፉም። ዘመዳቸው ከአሰብ የሚልክላቸው “የኃይል ቫይታሚን” ነበራቸው፤ ቡናማ ጠርሙስ ነው። ከስብሰባ በፊት ሁለት ማንኪያ፣ በስብሰባው መካከል አንድ ማንኪያ ይጨምራሉ። ከሦስተኛው ማንኪያ በኋላ ንግግራቸው ማለቂያ የለውም። አንድ እሑድ ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ሳለ አዴ ዲንቄ እጃቸውን አወጡ። የጤና ጉዳይ ነው ብለው ዕድል ጠየቁ፤ ተሰጣቸው። ወደ ፊት ሄደው ጠርሙሱን አነሡና ገለበጡት።

“ጓድ ሊቀ መንበር፣ መጀመሪያ የተጻፈው ውሃ ነው። ሁለተኛው ስኳር። ሦስተኛው አልኮል። ቫይታሚኑ ከሁሉም መጨረሻ ነው የመጣው፣ እሱም በጣም ትንሽ ነው። ይሄ ጠጅ ነው፣ ጓድ።”

በዚያን ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ከቤቱ የተወሰደ ሰው እናውቃለን። ጓድ ወልደአማኑኤል ጠርሙሱን አዩ፣ አዴ ዲንቄን አዩ፣ እንደገና ጠርሙሱን አዩ። “እኔ ደግሞ ስብሰባ ደስ ደስ የሚለኝ ንቃቴ እያደገ መስሎኝ!” ብለው ሳቁ። እኛም መሳቃቸውን ካረጋገጥን በኋላ ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ስብሰባው በአንድ ሰዓት አጠረ፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ኒሻን ይገባቸው ነበር።

አሁን የማፍርበትን ልናገር።

ባለቤቴ ዘርፉ የመጀመሪያ ልጃችንን ፀንሳ አምስተኛ ወሯ ነበር። ጉንጮቿና ግንባሯ ላይ ማዲያት ወጣባት። ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ሳትጎትት ከደጅ አትወጣም፤ መስታወቱንም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። አንጀቴን በላችኝ። ከድሬዳዋ በባቡር ኮንትሮባንድ የምታመጣ ቶይባ የምትባል ነጋዴ ነበረች፤ እሷ ጋ ሄድኩና ወርቃማ ክዳን ያለው ነጭ የፊት ቅባት ገዛሁ። “ወላሂ መምህር፣ በሁለት ሳምንት ማዲያቱ ድራሹ ይጠፋል” አለችኝ።

ከባቡሩ የሚወርደው ቅባት ሁሉ ካርቶን የለውም። ነጋዴዎቹ ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልለው ከቀሚሳቸው ሥር ወገባቸው ላይ ያስሩታል። ካርቶን ቦታ ይይዛል፣ ፈታሽ ሲመጣም ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ አውልቀው ይጥሉታል። ጽሑፉ ደግሞ ያለው ካርቶኑ ላይ ነው። ከተማው ሙሉ ምን እንደሚቀባ ሳያውቅ ይቀባ ነበር፤ ከአዴ ዲንቄ በቀር ይህን ጉዳዬ ያለ ሰው አልነበረም።

አዴ ዲንቄ የእኛን ብልቃጥ በሁለተኛው ቀን ደረሱበት። አገላብጠው አዩት፤ ከስሙና ከአበባ ሥዕል በቀር ምንም የለበትም።

“ካርቶኑስ?”

“ካርቶን የለውም፣ አዴ ዲንቄ።”

“እንግዲያው አትቀባው። እርጉዝ ናት።”

“ለቅባት ደግሞ መታወቂያ ይጠየቅ ጀመር?” አልኩ። በቀልዴ ራሴው ሳቅሁ። እሳቸው ሲወጡ ለዘርፉ ቅባቱን ከዱቄቱ ዕቃ ጀርባ እንድትደብቀው ነገርኳት። ማዲያቱ እውነትም መጥፋት ጀመረ። መስታወቱ ወደ ቦታው ዞረ፤ እኔም ሰፈር ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

አዴ ዲንቄ ባቡር ጣቢያ መውጣት የጀመሩት በዚያው ሳምንት ነው። ቶይባ የምትመጣበትን ቀን ያውቃሉ፤ የሥራ ጋውናቸውን ሳያወልቁ ሄደው ይቆማሉ። የዚያን ቅባት አንድ ካርቶን ብቻ እንድታመጣላቸው ይለምኗታል። “ካርቶን ምን ያደርግልዎታል፣ አዴ?” ትላቸዋለች፤ ትረሳዋለች። ሦስት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በአራተኛው ቶይባ ከባቡሩ ወርዳ ግንድ ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀችና ከውስጡ የታጠፈ፣ በእግሯ ላብ የራሰ ካርቶን አወጣች።

እዚያው ቆመው አነበቡት። ከቃላቱ ሁሉ አንዱን አያውቁትም። ገልብጠው ለአቶ ብዙነህ ወሰዱት። አቶ ብዙነህ መጽሐፋቸውን ገለጡ፣ አነበቡ፣ መጽሐፉን ዘጉና “ማን ነው የሚቀባው?” አሉ።

ያ ቃል ባዜቃ ማለት ነበር። አዴ ዲንቄ ባዜቃን ያውቁታል። ጤና ጣቢያው ውስጥ የሙቀት መለኪያ ሲሰበር ወለሉ ላይ የሚሯሯጠው የብር ጠብታ ነው፤ በባዶ እጃቸው እንዳይነኩት ተነግሯቸዋል። ገርባ አንጥረኛውንም ያውቁታል። ሠላሳ ዓመት ወርቁን በባዜቃ እየለወሰ ብር ላይ ሲቀባ ኖሮ፣ አሁን እጁ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ሻዩን ሰው ነው የሚያጠጣው።

ቤታችን የመጡት ለምሳ እንደተቀመጥን ነው። ዘርፉ አጠገብ ተቀመጡና ሁለቱንም እጆቿን ያዙ።

“ልጄ፣ ስንት ቀን ተቀባሽው?”

“ሃያ ሦስት ቀን። ጠዋትና ማታ።”

“ተነሺ ፊትሽን ታጠቢ። ዛሬ ቆመ፤ በቃ።”

ከዚያ ምን እንደሆነ ነገሯት። ምሳዬን ትቼ ወደ አቶ ብዙነህ ሮጥኩ። “ማቋረጧ ጥሩ ነው። ብዙም አልቆየችበትም፤ ደህና ሊሆን ይችላል። ከዚህ በላይ ባውቅ እነግርህ ነበር” አሉኝ።

ቶይባ ነገሩን ስትሰማ ወገቧ ላይ ያለውን ሁሉ ፈትታ እያለቀሰች ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው። ከዚያ ወዲያ በዚያ መስመር ካርቶን በኮንትሮባንድ የምታስገባ ብቸኛዋ ነጋዴ ሆነች፤ ጫማዋን በሁለት ቁጥር አሳደገችው።

አራት ወር ጠበቅን። ዘርፉ ልጁ ሆዷ ውስጥ ሲራገጥ “መንቀጥቀጥ ይሆን እንዴ?” ትለኛለች። ቅባቱን የገዛሁት እኔ ነኝ።

ሴት ልጅ ወለደች። ደህና ትመስላለች፤ መምሰል ግን አላሳረፈንም። አዴ ዲንቄ በማግስቱ ማለዳ፣ ወደ ሥራ ሲሄዱ ገቡ። ገንፎው ቀርቦላቸው የቅቤውን አገር ጠየቁ፣ ያነጠረውን ሰው ጠየቁ፣ ሁለት ጊዜ ቀመሱ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ወደ ሕፃኗ ሄዱ፣ ጎንበስ ብለው ትንሽ ቆዩ፣ ደብተራቸው ላይ አንድ ነገር ጫር አድርገው ወጡ። በማግስቱም መጡ። በሦስተኛውም። አንድም ቀን አልቀሩም። ስለ ቅቤያችን የሚጽፉ መስሎኝ ነበር። “ልጃችንንም ገልብጠው ሊያነቧት ነው” እያልኩ ለዘርፉ አጉረመርማለሁ። አንድ እሑድ እንዲያውም ጠዋት መጥተው ሄደው ማታ ደግሞ ተመልሰው መጡ፤ በሩን የከፈትኩላቸው ፊቴን አጨማድጄ ነው።

በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። እንግዳው ግቢ ውስጥ እየበላ ሳለ አዴ ዲንቄ ወደ ጓዳ ጠርተው ደብተሩን ሰጡኝ።

“መምህር፣ እስቲ አርምልኝ” አሉ።

ከፈትኩት። እኔ ያስተማርኩት፣ ትልልቅና ጠማማ የእጅ ጽሑፍ ነው።

“ማክሰኞ። ትንሽ ጣቴን መዳፏ ላይ አደረግሁ። ጨበጠች። እጇ አይንቀጠቀጥም።

“ረቡዕ። ጨበጠች።

“ሐሙስ። ጨበጠች። አለቅም አለች።”

ገጹን ገለጥኩ። ቀኑና ጨበጠች፣ ቀኑና ጨበጠች እያለ ይወርዳል። መሐል ላይ አንድ ረዘም ያለ መስመር አለ። “እሑድ። አልጨበጠችም። ለማንም አልተናገርኩም። ቀኑን ሙሉ እህል አልበላሁም። ማታ ተመልሼ ሄድኩ። ጨበጠች።”

አዴ ዲንቄ አጠገቤ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ስህተት የምፈልግ መስሏቸዋል። እኔ ግን ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ፊደሉ ጠፍቶብኛል። በእጄ ጠረግ አደረግሁና ከላይ ጀመርኩ፤ ሰማንያውንም ቀን አንድ ሳልዘል እስከ ታች አነበብኩላቸው።