የሀርሺን መንገድ ከፍተኛ ጭነት

(በ1979 ዓ.ም.፣ በበጋ። ከጅጅጋ ወደ ሀርሺን በሚወስደው ሜዳ ላይ አንድ ላንድሮቨር ቆሟል። ወልደሩፋኤል ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት መሐንዲስ ነው፤ ከሐረር እስከ ጅጅጋና ወዲያ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘርጋ ወይስ አይዘርጋ የሚለውን ሊያጠና ነው የመጣው። ጥናቱ ነገ በአውሮፕላን ካልሄደ ጅጅጋ ለሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ከዕቅድ ውጭ ናት። ሦስት ቀን ሙሉ መኪናውን የነዳለት አደን ነው፤ ጺሙ የሸበተ፣ ወሬ የማያበዛ የጅጅጋ ሰው። ወልደሩፋኤል ሾፌር ነው ብሎ ይዞታል፤ ያውም ነገር ቶሎ የማይገባው ሾፌር። አሁን ካርታውን ኮፈኑ ላይ ዘርግተው ይጨቃጨቃሉ።)

ወልደሩፋኤል፦ መንደሩ እዚህ ነው አልኩህ!

አደን፦ እዚህ የለም።

ወልደሩፋኤል፦ አለ! ከአውሮፕላን የተነሳ ፎቶግራፍ ነው እኮ። መቶ አርባ ቤት። በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ ቆጥሬዋለሁ።

አደን፦ (ዙሪያውን ያያል፤ ባዶ ሜዳ ነው።) ጓድ ኢንጂነር፣ ቆጠራው ልክ ነው። ቤቶቹ ግን ሄደዋል።

ወልደሩፋኤል፦ ሰዎቹ ለማለት ፈልገህ ነው።

አደን፦ ሰዎቹም ሄደዋል።

ወልደሩፋኤል፦ እሺ፣ ሰው ይሄዳል። ቤት የት ይሄዳል?

አደን፦ ውሃ ፍለጋ።

(ወልደሩፋኤል በረጅሙ ተነፈሰ። ይህን ሰውዬ ሦስት ቀን መታገሡን ባለቤቱ እንኳ አታምነውም።)

ወልደሩፋኤል፦ አደን፣ ቤት ውሃ ይጠጣል?

አደን፦ አይጠጣም።

ወልደሩፋኤል፦ እግር አለው?

አደን፦ የራሱማ የለውም።

ወልደሩፋኤል፦ ስለዚህ መንገድ ስተሃል ማለት ነው!

አደን፦ እርስዎ ካሉ ስቻለሁ።

ወልደሩፋኤል፦ ተወው። ሰዎቹን ታውቃቸዋለህ?

አደን፦ አጎቶቼ ናቸው።

ወልደሩፋኤል፦ ጥሩ፣ እንደ ትናንቱ አንተ ትመልስልኛለህ። (ቅጹን ያወጣል።) ጥያቄ አራት፣ ጭነት። የአንድ ቤት ጭነት ስንት ነው?

አደን፦ እንደ ቤቱ ነው። አዲስ ሙሽሮች ከሆኑ አንድ ይበቃቸዋል። ቤተሰብ ከበዛ ሦስትም አራትም ይደርሳል።

ወልደሩፋኤል፦ በኪሎ አራት ማለት ነው?

አደን፦ ኪሎ? ምን ኪሎ! አንዱ ብቻውን ሁለት ኩንታል ይሆናል።

ወልደሩፋኤል፦ (ለራሱ፣ በሐዘኔታ) ኪሎዋትን በኩንታል ይለካል! (ይጽፋል።) መቶ አርባ ሲባዛ በአራት… አምስት መቶ ስልሳ! አደን፣ ጅጅጋ በሙሉ ሦስት መቶ ነው የምትወስደው። እነዚህ አጎቶችህ ምንድን ናቸው?

አደን፦ ጠንካሮች ናቸው።

ወልደሩፋኤል፦ ጭነቱ የሚበዛው በስንት ሰዓት ነው?

አደን፦ ሊነጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።

ወልደሩፋኤል፦ ማታ አይደለም? በሌላው አገር ማታ ነው።

አደን፦ ማታማ ይወርዳል። ካልወረደ ይጮኻል፣ ሰው አያስተኛም።

ወልደሩፋኤል፦ (ለራሱ) ትራንስፎርመሩ ነዋ የሚጮኸው! (ለአደን) ከመጠን በላይ ሲጫንስ?

አደን፦ ይንበረከካል። ቢደበድቡትም አይነሳም።

ወልደሩፋኤል፦ (እየጻፈ) «አልፎ አልፎ ይቋረጣል።» ያኔ ምን ታደርጋላችሁ?

አደን፦ ከዚህኛው ቀንሰን ለዚያኛው እናካፍላለን።

ወልደሩፋኤል፦ (እስክሪብቶውን ያስቀምጣል።) ጭነት ማከፋፈል! እኔ ይሄን ለመማር ውጭ አገር ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ። ማን አስተማረህ?

አደን፦ አባቴ። አባቴ እስከ በርበራ ያደርስ ነበር።

ወልደሩፋኤል፦ እስከ በርበራ? ድንበር ተሻግሮ? በየትኛው መስመር?

አደን፦ መስመሩን እሱ ነበር የሚያውቀው። ዓይኑን ጨፍኖ ይሄድበታል።

ወልደሩፋኤል፦ (ተደንቆ) ይህን የሚያህል ርቀት! መንገድ ላይ የሚባክነው ስንት ነበር? ከመቶ አሥር? ከመቶ አሥራ አምስት?

አደን፦ ምንም። ጅብ ካልበላው ምንም አይባክንም።

ወልደሩፋኤል፦ ጅብ… ምኑን ነው የሚበላው?

አደን፦ ግመሉን ነዋ! ሌላ ምን ይበላል?

(ወልደሩፋኤል ቅጹን አየው፣ ሜዳውን አየው፣ እንደገና ቅጹን አየው። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ።)

ወልደሩፋኤል፦ የእስካሁኑ ሁሉ… ስለ ግመል ነው?

አደን፦ ቤቱን ፈትተው፣ እንጨቱንና ሰሌኑን የሚጭኑበት ግመል ነዋ። ቤቱ የት ሄደ ብለው ሲጠይቁኝ ነበር እኮ።

ወልደሩፋኤል፦ የትናንቱስ? የትናንት ወዲያውስ? ሃያ ሁለት ቅጽ ሞልቻለሁ! ሁሉም ግመል ነው?

አደን፦ ኧረ አይደለም! አንዱ አህያ ነው።

ወልደሩፋኤል፦ (ኮፈኑ ላይ ተደፍቶ) አለቀልኝ! ነገ አውሮፕላኑ ይነሳል፣ እኔ የያዝኩት ስለ ግመል የሚያወራ ጥናት! በጅጅጋ በራሷ ሦስት መቶ ኪሎዋት ብቻ ደግሞ የካራማራን ተራራ የሚሻገር ምሰሶ ማንም አይተክልልኝም።

አደን፦ ጅጅጋ ሦስት መቶ የምትወስደው የመብራት ሞተሯ ሦስት መቶ ስለሆነ ነው። አራት መቶ ቢሆን አራት መቶ ትወስዳለች። አንድ እንጀራ ለአሥር ሰው አቅርበው «አሥር ሰው የሚበላው አንድ እንጀራ ነው» ብለው ይጽፋሉ?

ወልደሩፋኤል፦ (ቀና አለ።) ምን አልክ?

አደን፦ ሎዱ የሞተሩ ነው፣ የሰዉ አይደለም። ማታ አራት ሰዓት ሞተሩን የማጠፋው፣ ሰው ጠግቦ አይደለም፣ ናፍጣ አልቆ ነው።

ወልደሩፋኤል፦ ሎድ? ሎድ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ቆይ፣ የምታጠፋው አንተ ነህ?

አደን፦ አሥራ አንድ ዓመት የጄኔሬተር ቤቱ ኃላፊ ነኝ። ሾፌሩ ታሞ ነው መኪና የያዝኩት።

ወልደሩፋኤል፦ ታዲያ ጭነት ስልህ ለምን አልገባህም!

አደን፦ እኛ ሞተር ቤት ሎድ ነው የምንለው። ጭነት ሲባል በእኛ አገር ግመል ነው።

ወልደሩፋኤል፦ ለምን አልነገርከኝም?

አደን፦ ሦስት ቀን ሙሉ የመንደሩን፣ የጉድጓዱን፣ የአባቴን ሳይቀር ጠየቁኝ። ሥራህ ምንድን ነው ያለኝ የለም።

(አደን ከመኪናው ውስጥ ዳሩ የተበላ ደብተር አወጣ። መብራት አስገቡልኝ ብለው «ሞተሩ ሞልቷል» የተባሉ ሰዎች ስም ከዳር እስከ ዳር ተጽፏል፤ እያንዳንዱ ስንት ኪሎዋት እንደሚፈልግም ጭምር።)

ወልደሩፋኤል፦ (ያነባል፤ ድምፁ ይለሰልሳል።) ክሊኒኩ፣ ለክትባት ማቀዝቀዣ። ወፍጮ ቤት፣ ሦስት። ኒምኮ፣ ለስፌት ቤት። ማርያን፣ ለጭማቂ መፍጫ… ከማርያን ስም አጠገብ ያሉት ጭረቶች ምንድን ናቸው?

አደን፦ የሰደበችኝ ብዛት።

ወልደሩፋኤል፦ አሥራ አራት?

አደን፦ የዚህ ወር ነው። አጣዳፊውን የምለየው በስድቡ ነው፤ ክሊኒኩ ሃያ ስድስት አለው። ነርሷ አፏ አይጣል ነው!

ወልደሩፋኤል፦ (መጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን ድምር ያያል።) አምስት መቶ ስልሳ ሁለት ሰው፣ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ኪሎዋት! ይሄ እኮ መስመር ያሰጣል! የዚህ ሜዳ ሰዎችስ? በየወሩ የሚሄድ ቤት ላይ ምን ተክዬ ልሂድ?

አደን፦ ብርካው ጋ ይትከሉ። የውሃ ማጠራቀሚያውን ማንም ግመል ላይ አይጭነውም። ፓምፕ ካለ ሁሉም ዞሮ እዚያው ነው የሚመጣው።

(ወልደሩፋኤል ሃያ ሁለቱን ቅጾች ወደ ኋላ ወንበር ወረወራቸው። እዚያው ኮፈኑ ላይ፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ፣ ከደብተሩ ገለበጠ፤ ያልገባውን ይጠይቃል፣ አደን ይመልሳል። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጥናቱ አለቀ። እስከዛሬ ከጻፈው ሁሉ የመጀመሪያው እውነተኛ ጥናት መሰለው።)

ወልደሩፋኤል፦ ጋሽ አደን፣ ይቅር ይበሉኝ። ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ሞኝ ነው ያየሁዎት።

አደን፦ አይቻለሁ። ጓድ ኢንጂነር ደክሞታል ብዬ ነው ያለፍኩት።

ወልደሩፋኤል፦ እዚህ ታች «ጥናቱን ያዘጋጀው» ይላል። ሥራው የእርስዎ ነው። የእርስዎን ስም ልጻፍ።

አደን፦ (ደንግጦ እጁን ይይዘዋል።) ኧረ በአላህ! የራስዎን ይጻፉ!

ወልደሩፋኤል፦ (ልቡ ተነክቶ) እንዲህ ያለ ትሕትና አይቼ አላውቅም።

አደን፦ የምን ትሕትና! መስመሩ ካልመጣ አምስት መቶ ስልሳ ሁለት ሰው ያጠናውን ፍለጋ ይነሳል። እርስዎ አዲስ አበባ ነዎት። የእኔን ቤት ግን ጅጅጋ ውስጥ ፍየሉ ሳይቀር ያውቀዋል።