ላጲስ የማይነኩት አቡ ጃሲብ

ተሳስቶ የማያውቅ ሰው የሌለበት ሰፈር አላህ አልፈጠረም። መብራት ያልደረሰው ሰፈር አለ፤ የቧንቧ ውኃ ያልደረሰው ሰፈር አለ፤ ይህ ሰው ግን ለየሰፈሩ አንድ አንድ ታድሏል። መንገድ ብትጠይቁት ባያውቀውም ይነግራችኋል። ጠፍታችሁ ስትመለሱ ደግሞ ጥፋቱ የመንገዱ እንደሆነ ያስረዳችኋል።

ለእኛ ሰፈር የደረሱን ክቡር አቡ ጃሲብ ናቸው። ቤታቸውና ቤቴ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። የመጡት ከረግረጉ አገር ነው። እዚያ የውኃ ጎሽ እያለቡ፣ በሸምበቆ ቤት እየኖሩ፣ ጎረቤት ለመጠየቅም በጀልባ እየቀዘፉ ሽበት ካወጡ በኋላ ውኃው ሸሸ። የቀረውም ጨው ሆነ። ጎሾቹን ለነጋዴ ሰጥተው ከባለቤታቸው ከኡም ጃሲብ ጋር ናስሪያ ከተማ ዳርቻ፣ እኛ ዘንድ ገቡ። ንግግራቸው ሁሉ «እኔ አውቃለሁ» ብሎ ይጀምርና «እኛ አገር ቢሆን» ብሎ ያልቃል። ያ አገር በሚኒባስ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ሲያወሩለት ግን ሰባት ባሕር አቋርጠው የመጡ ይመስላሉ። ስለ ነገ ሲናገሩም ሰው ሁሉ የሚላትን «ኢንሻአላህ» አይጨምሩም። እርግጠኛ ሰው ምን ያደርግላታል?

አንድ ጊዜ ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው ድንኳን ተሳሳቱ። ገብተው ፋቲሓ አነበቡ፣ መራራውን ቡና ጠጡ፣ ከዚያም ስለሟቹ ለጋስነት ረጅም ምስክርነት ሰጡ። የሟቹ ልጆች ተንሰቅስቀው አለቀሱ። እኔ እሳቸውን ፍለጋ መጥቼ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልኩና «አቡ ጃሲብ፣ የእኛ ሟች እኮ ያለው በሚቀጥለው መንገድ ነው» አልኳቸው።

«እኔ አውቃለሁ» አሉ፣ ቅንጣት ሳይደነግጡ። «ይኼኛውስ ሞቶ የለም እንዴ? ለእሱ ማን ይመስክርለት?»

ጠዋት ጠዋት የጎሽ ስልባቦት የምትሸጥ ሴት በበራችን ታልፋለች። አቡ ጃሲብ በጣታቸው ቀምሰው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። «ይኼ ስልባቦት ነው የግድግዳ ቀለም? የጋዛላን ስልባቦት ብታዪ ቢላ ይሰብር ነበር!»

«ታዲያ እናንተ ቤት ቁርስ የሚበላው በመጥረቢያ ነበር፣ አጎቴ?» ትላቸዋለች።

ይሳደባሉ፤ ከዚያ ከሁላችንም አብልጠው ይገዛሉ።

ጋዛላ ማለት ሚዳቋ ማለት ነው። ጭነት መኪና የምታህለውን ጎሻቸውን ሚዳቋ ብለው ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። የጋዛላን ታሪክ ሰፈሩ በቃሉ ይዞታል፤ በማዕበል ቀን እንዴት እንዳሻገረቻቸው፣ ወንድማቸውን ለምን እንደወጋችው (ይገባው ነበር)። የሌሎቹንም እናውቃለን። አንዷን ብቻ ይዘሏታል፤ ደህማን። «እሷ የኡም ጃሲብ ናት» ይሉና ወሬ ይቀይራሉ።

የደህማን ነገር የሰማሁት ባስራ ከሚሠራው ልጃቸው ከጃሲብ ነው። ኡም ጃሲብ ሲዳሩ አባታቸው ከሰጧቸው ጎሽ ዘር የተወለደች ነች። ውኃው ጨው ሲሆን መጨረሻ የቀረችው እሷ ነበረች። ኡም ጃሲብ «እሷንስ አትሸጣትም» አሉ። አቡ ጃሲብ ግን «እኔ አውቃለሁ፤ ከረመዳን በፊት ውኃው ይመለሳል፤ መልሼ እገዛልሻለሁ» አሉና ለነጋዴው ሰጧት። ረመዳን መጣ፣ ሄደ፣ እንደገና መጣ። ውኃው አልመጣም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ኡም ጃሲብ ቀልዱም፣ ሽሙጡም፣ ሻዩም አልጎደለባቸው፤ የጎሽ ስም ግን ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

እንግዲህ ወደ ላጲሱ ልምጣ።

አምና አንዲት ኢብቲሃል የምትባል የሥዕል አስተማሪ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት፣ ከዓስር ሶላት በኋላ በግቢዋ ለትልልቅ ሰዎች የእርሳስ ሥዕል ማስተማር ጀመረች። እንስሳት ነው የምታስተምረው፤ መጀመሪያ ቅርጹን፣ ቀጥሎ ጥላውን። እኔ ማንበብ የለመድኩት ካደግሁ በኋላ፣ ለብቻዬ ነው፤ ፊደልን ያሸነፈ ሰው ጥንቸል መሳል አያቅተውም ብዬ ተመዘገብኩ። አቡ ጃሲብንም ይዣቸው ሄድኩ። ነፍስ ያለውን መሳል ኃጢአት እንዳይሆንብን ፈርተን ነበርና፣ የመጀመሪያዎቹን ሥዕሎቻችንን ይዘን የመስጊዱን ሰይድ፣ ሃይማኖት አዋቂውን፣ ጠየቅናቸው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገልጠው አዩና መለሱልን።

«ሂዱ፤ ሳሉ» አሉ። «ይህን አይቶ ከፈጣሪ ሥራ ጋር የሚያምታታ ሰው አይኖርም።»

በመጀመሪያው ቀን ኢብቲሃል ለእያንዳንዳችን እርሳስ፣ መቅረጫና ላጲስ አደለችን። አቡ ጃሲብ ላጲሱን በሁለት ጣት አንስተው ወደ እሷ መልሰው ገፉት።

«ይኼን ለልጆች ስጪልኝ፣ ልጄ።»

«ጀማሪ ያለ ላጲስ አይሆንለትም፣ አቡ ጃሲብ። ሁላችንም እንሳሳታለን።»

«ሁላችሁም ልትሳሳቱ ትችላላችሁ» አሉ በርኅራኄ። «የእኔ እጅ ግን ያስቀመጠውን አያነሳም።»

አላነሱምም። ኢብቲሃል ጥንቸል ስትል እሳቸው ጎሽ፤ ድመት ስትል ጎሽ። ሥዕሉን የሚጀምሩት ከቀንዱ ነው። ቀንዱን እንደሚገባው አንሰራፍተው ሲጨርሱ ወረቀቱ ያልቃል። «ትንሽ አሳንሰው ይጀምሯት» ትላቸዋለች። «ጥጃ እንኳን ይህን አያህልም!» ይሉና ሁለተኛ ወረቀት ይቀጥላሉ። ከዚያም ሦስተኛ። አንድ ዓርብ ቀና ብል የጋዛላ ጅራት እኔ ጠረጴዛ ላይ ደርሷል።

ጥላው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

«ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው፣ አቡ ጃሲብ?»

«ከአላህ ነው፣ ልጄ።»

«አሚን። ወረቀቱ ላይስ?»

«ወረቀቱም ላይ ከአላህ ነው።»

«ማለቴ በየት በኩል? በቀኝ ነው በግራ?»

«አላህ በሁሉም በኩል ነው» አሉና ጎሿን በሁሉም በኩል እኩል አጠቆሯት። እርሳሱን ከመጫናቸው ብዛት ወረቀቱ ተቀደደ። እሱንም በሊጥ ለጥፈው ቀጠሉ።

እግር የሚባል ነገር ግን የላትም። ሁልጊዜ እስከ ሆዷ ውኃ ውስጥ ናት።

«ከእግር እየሸሹ ነው» አለቻቸው ኢብቲሃል። «ጀማሪ ሁሉ እግር መሳል ይፈራል።»

«እኔ ልፈራ? ጎሽ እግር እንዳላት ያወቅሁት እኮ ውኃው የደረቀ ለት ነው።»

ሰበቡ ስለጣመኝ በሚቀጥለው ሳምንት ጥንቸሌን እስከ ሆዷ ውኃ ውስጥ አስገባኋት። ከጎኔ ያለው ፋርማሲስት አውራ ዶሮውን አስገባ። የኋለኞቹም ድመቶቻቸውን አስከተሉ። ኢብቲሃል ስትዞር አይታ ራሷን ያዘች። «ኧረ በአላህ! ክፍሉን እኮ ጎርፍ ወሰደው!» ሳቃችን ግቢውን ሞላው። አቡ ጃሲብ ብቻ አልሳቁም። ወደ እኔ ወረቀት አጎንብሰው በጥንቸሌ ዙሪያ የጫርኳትን ውኃ ትኩር ብለው አዩ።

«እንዲህ ሞልቶ ቢመጣ» አሉ ቀስ ብለው።

ከትምህርት በኋላ ወረቀታቸውን እንደ ምንጣፍ ጠቅልለው ይዘው በቀጥታ ወደ ኡም ጃሲብ ነው። እኔም ለሻይ እከተላለሁ። ጎሿን ግቢው መሐል ይዘረጓታል፤ ስሟን አይናገሩም። ከሥዕሉ ግርጌ «ጋዛላ» ብለው ጽፈዋታል፤ ኡም ጃሲብ ግን ፊደል ስላልቆጠሩ አይነበብላቸውም። አቡ ጃሲብ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ይቆማሉ።

«ማን ናት?»

ኡም ጃሲብ ከሩዝ ለቀማቸው ቀና ይላሉ። «ፍሪጅ ነው። ወድቆ።»

በሳምንቱ፦ «ማን ናት?»

«ሶፋ ነው። ምነው ጆሮ አበቀለ?»

በሌላው ሳምንት፦ «እኔ አላውቃትም። አንተ የምታውቃት ከሆነ ግባ በላት፤ ሻይ ትጠጣ።»

እስቃለሁ። አቡ ጃሲብ ጎሿን ይጠቀልላሉ። «በዓባስ ምያለሁ!» ይላሉ፤ በእኛ ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ መሐላ የለም። «ሳልነግራት ራሷ በስሟ እስክትጠራት ድረስ ሌላ እንስሳ አልስልም!»

እኔ ግትርነት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ስንመለስ የቦዩ ድልድይ ላይ ቆሙ። ከሥር ላስቲክና ደረቅ ጭቃ ነው ያለው። እሳቸው ግን ውኃ እንዳለበት ሰው ቁልቁል ያያሉ።

«ጎረቤቴ፣ ዓይኔን ስጨፍን የጋዛላ ጀርባ ይመጣል። ጅራቷ ይመጣል። ፊቷ እንቢ አለኝ።»

«ይመጣል፣ ኢንሻአላህ» አልኩ።

«ጎሾቹን የምናውቃቸው ሁለት ሰዎች ነን። ልጄ እንኳን ዘርዝር ብትለው አያውቅም። እናቱ አፏን ዘጋች። እኔ ደግሞ...» ወረቀቱን ከአንዱ ብብታቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። «እሷ ካላወቀቻቸው እኮ አልነበሩም ማለት ነው፣ ወንድሜ።»

«እኔ አውቃለሁ» አላሉም። ምነው ባሉ ብዬ ተመኘሁ።

በሚቀጥለው ዓርብ ኢብቲሃል የባሏን ጥቁር የላስቲክ ቦት ጫማ ጠረጴዛ ላይ አቆመችና በማንቆርቆሪያ ውኃ አፈሰሰችበት።

«ምን ታያላችሁ?»

«የሚታጠብ ጫማ» አለ ፋርማሲስቱ።

«ጥቁር ያልሆነው የቱ ጋ ነው? ተመልከቱ፤ እዚህ አንገቱ ላይ፣ እዚህ አፍንጫው ላይ። ይህን ነጭ በእርሳስ አትሠሩትም። ትተዉታላችሁ። ብርሃኑ ወረቀቱ ራሱ ነው። ያልነካችሁት ቦታ ነው የሚያበራው።»

አቡ ጃሲብ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ከውኃ ስትወጣ!» አሉ። «ልክ ከውኃ ስትወጣ እኮ እንዲህ ናት!»

ወዲያው እርሳሳቸውን አነሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጎሿ በአንድ ወረቀት በቃች። እርሳሱ ቀለል ብሎ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይዘላል። ጀርባዋ ላይ፣ አፍንጫዋ ላይ፣ ግንባሯ ላይ ወረቀቱን ተዉት። አንድ ዓይኗ ከሌላው ይበልጣል፤ ቀንዷም እንደ ቅርጫት እጀታ ነው። ግን እርጥብ ነበረች። አላህ ምስክሬ ነው፣ እርጥብ ነበረች። ግርጌዋ ላይ እንደ ልማዳቸው «ጋዛላ» ብለው በትልቁ ጻፉ።

ግቢው ውስጥ ዘረጓት። ኡም ጃሲብ ሩዝ እየለቀሙ ነበር።

«ማን ናት?» አሉ አቡ ጃሲብ።

ኡም ጃሲብ ሽሙጣቸውን አዘጋጅተው ቀና አሉ። ሽሙጡ አልወጣም። ትሪውን ከጉልበታቸው አወረዱ፣ እጃቸውን በዓባያ ቀሚሳቸው ጠረጉና አጠገቧ ተንበረከኩ። ጣታቸውን ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ ቦታ ላይ አሳረፉ።

«ደህማ» አሉ።

ዓይኔ ከግርጌ «ጋዛላ» የሚለው ጽሕፈት ላይ አረፈ።

«ደህማዬ! ቦቃዋን ሳይቀር!» አሉ ኡም ጃሲብ። ሳቁ ይሁን ለቅሶው አልለየላቸውም። «እኔ እኮ የረሳሃት መስሎኝ ነበር፣ አንተ ሰው። ስንት ዘመን ስሟን ሳታነሳ፤ ቦቃዋን ረስቷል ብዬ።» ከዚያ ወደ ወረቀቱ አጎንብሰው ከጉሮሯቸው አንድ ድምፅ አወጡ፤ ረጅም፣ ዝቅ ብሎ የሚነሳ። ከሩቅ ውኃ ላይ ጎሽ የሚጠራበት መሆን አለበት። እኔ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም።

አቡ ጃሲብን አየኋቸው። ጋዛላ ቦቃ አልነበራትም፤ ጥላሸት የመሰለች ጥቁር እንደሆነች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አሁን «እኔ አውቃለሁ፤ ይህቺ ጋዛላ ናት፤ ነጩ ብርሃን ነው» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እኚህ ሰው የማያውቁትን ሟች ያሞካሹ፣ ላጲስ የመለሱ ሰው ናቸው። ሚስታቸውን አዩ፤ ጎሿን አዩ፤ እንደገና ሚስታቸውን አዩ።

«አልረሳኋትም» አሉ።

አጠገቧ እሳቸውም ቁጭ አሉ። ጥቂት ቆይተው እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«ጎረቤቴ፣ ያ ላጲስህ አለ?»

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አያያዙን አያውቁበትም፤ እንደ ሳሙና በጭብጣቸው ጨበጡት። ከግርጌ ያለውን ስም ቀስ እያሉ ያሹት ጀመር።

«ምንድን ነው የምታጠፋው?» አሉ ኡም ጃሲብ።

«የተሳሳትኩትን።»

 ኡም ጃሲብ የባላቸውን እጅ በጣታቸው መታ አድርገው «ቦቃዋን እንዳትነካ ብቻ» አሉ።

ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ግድግዳችን ስስ ነው። የዚያን ዕለት ምሽት ኡም ጃሲብ የጎሾቹን ስም ተራ በተራ ሲጠሩ፣ አቡ ጃሲብም ሲከራከሩ ሰማሁ። «ወንድምህን የወጋችው ጋዛላ አይደለችም!» ይላሉ ኡም ጃሲብ። «እኔ አውቃለሁ!» ይላሉ አቡ ጃሲብ። ተመስገን አልኩ። ስለ ውኃውም ተነስቶ፣ አቡ ጃሲብ ይመለሳል ሲሉ ከኋላው ያቺን ያልለመዷትን «ኢንሻአላህ» ጨመሩባት። እኔም ከግድግዳው ወዲህ «አሚን» አልኩ።

በሚቀጥለው ዓርብ ለክፍሉ ሁሉ ስለ ላጲስ አጠቃቀም ረጅም ማብራሪያ ሰጡ። ጨብጦ መያዝ ስህተት እንደሆነ፣ ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚያ ላይ እንደሆነ አስረዱን። ኢብቲሃል አፏን በሻርፗ ሸፍና አዳመጠች።

«ላጲሴን ይመልሱልኛ» አልኳቸው ስንወጣ።

«የቱን ላጲስ?» አሉ ክቡር አቡ ጃሲብ፣ የደረት ኪሳቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው። «ይኼ የእኔ ነው። ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን የሰጠችኝ። እኔ አውቃለሁ።»

«ልክ ነዎት» አልኳቸው።