የሰፈራችን የምሳ ሚኒስትር

ሸረሪት እንኳ ለመግደል ፈቃዱ የሚጠየቅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ጫማችሁን ስታነሱ ከየት መጣ ሳይባል ከኋላችሁ ይቆምና «ተው!» ይላል። ማንም አልሾመው፣ ማንም አይሽረው። መቱ፣ እኛ ሰፈር፣ ይህ ሥልጣን ምስማር፣ ገመድ፣ ጨውና ሳሙና በሚሸጡት በጋሼ ረድዋን እጅ ነው። እኛ ከመናደዳችን ብዛት ክቡር የምሳ ሚኒስትር እንላቸዋለን። የሚሳብም ሆነ የሚበር ነገር ባዩ ቁጥር የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ስለሆነ ነው፦ «እሱስ የማን ምሳ ነው?»

አንድ ቀን የአጥሬን ምስጥ በተቃጠለ ዘይት ሳጠፋ ደረሱብኝ።

«ምስጡ የማን ምሳ ነው?»

«የማንም አይደለም ጋሼ። ይልቅ አጥሬ የምስጡ ምሳ ሆኗል።»

«እህ! ይኸው ግማሹን ራስህ ደረስክበት» ብለው ዘይቱን ከእጄ ወሰዱ።

ዶሮ የምታረባው ጎረቤታችን ሀረገወይን ደግሞ ጭልፊት ጫጩቷን ነጥቆባት እሪ ስትል፣ ሚኒስትሩ ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው «እሱም የሚያበላቸው ልጆች አሉት» አሏት።

«እንግዲያው እርስዎ ቤት አምጥቶ ያሳድጋቸዋ!» አለች።

ከሁሉ የባሰው የጉጉቶቹ ነገር ነበር። በእሳቸውና በእኔ ቤት መካከል በቆመው ዋንዛ ጎድጓዳ ውስጥ ሁለት ጉጉቶች ይኖራሉ። ጉጉት የዋጠችውን አጥንትና ፀጉር ድብልብል አድርጋ ትተፋዋለች። ጋሼ ረድዋን ይህን ድብልብል ጠዋት ጠዋት ከዛፉ ሥር ለቅመው ሱቃቸው ባንኮኒ ላይ በምስማር ይፈታሉ፤ ትንንሽ የአይጥ ራስ ቅሎችንም ከሳሙናው ጎን ይደረድራሉ። ባጃጅ ነጂው ቀኖ አንድ ቀን ሳሙና ሊገዛ ገብቶ አየና «ጋሼ፣ ለዛሬ ሳልታጠብ ብውል ይሻለኛል» ብሎ ወጣ።

ሳይንሱንም አስተምረውናል። እኔን፣ ቀኖንና ሀረገወይንን ከውሃው በርሜል አጠገብ አሰለፉን። እኔ በቆሎ ነኝ፣ ቀኖ አይጥ ነው፣ ሀረገወይን ደግሞ እየተሳደበች ጉጉት ሆነች። እፍኜን ሙሉ ውሃ ጨለፉልኝና «አቀብል!» አሉኝ። ቀኖ እፍኝ ውስጥ ገለበጥኩለት፤ አብዛኛው መሬት ፈሰሰ። ቀኖ ለሀረገወይን አቀበላት። እሷ ጋ የደረሰው መዳፍ የሚያረጥብ ብቻ ነበር።

«ይኸው!» አሉ ሚኒስትሩ። «ፀሐይ ለበቆሎው የሰጠችው ጉልበት እንዲህ ነው የሚሄደው። አይጡ የበላውን ሲሮጥበት፣ ሲሞቅበት፣ ሲወልድበት ይጨርሰዋል። መጨረሻ ላይ ለቆመችው የሚደርሳት ይህቺ ጠብታ ናት። ለዚህ ነው አይጥ ሺህ ሆኖ ጉጉት ሁለት ብቻ የሆነችው።»

ሀረገወይን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች «ሁለቱም በዝተዋል» አለች።

ያለ ምክንያት አላለችም። በእኛ አገር ጉጉት ጣራ ላይ ከጮኸች አንድ ሰው ከዚያ ቤት ሞቶ ይወጣል ይባላል። የጋሼ ረድዋን ባለቤት እትዬ ኡሙልኸይር ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ታመው ነበር። ኩላሊታቸው ነው። ቀኖ በባጃጁ ሆስፒታል ሲያመላልሳቸው ቆይቶ፣ በመጨረሻ ሐኪሙ ቤታቸው ቢያርፉ ይሻላል አለ። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጉጉቷ ዋንዛው ላይ ትጮኻለች፤ ሊጠይቁ የመጡት ሴቶች ይተያያሉ።

«ጋሼ፣ ይህች ወፍ ስም እየጠራች ነው» አለች ሀረገወይን አንድ ማምሻ። «ዛፉን ያስቆርጡት።»

የመለሱላት ሚኒስትሩ ሳይሆኑ ከአልጋቸው እትዬ ኡሙልኸይር ናቸው። «ዲሲ» አሏት በኦሮምኛ፤ «ተያት እባክሽ። የምትጠራው ባሏን ነው። እኔ ረድዋንን በቀን መቶ ጊዜ ስጠራ ማን ሞተ?»

ሳቅን። ለሙሽርነት ከዳሪሙ የመጡ ሴት ናቸው፤ እዚያ የአባታቸውን ጎተራ ከአይጥ ትጠብቅ የነበረችው ይህችው ወፍ እንደነበረች ነገሩን። ማታ ማታ ድምፅዋን ሳይሰሙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር።

በኅዳር በቆሎ ሲገባ አይጡ አብሮ ገባ። እንደዚያ ዓመት በዝቶ አያውቅም። ጣራችን ውስጥ ይሯሯጣል፣ ጆንያ ይቀድዳል፣ የቀኖን የባጃጅ ወንበር ሳይቀር በልቷል። ሰፈሩ መርዝ ገዛ። ሀረገወይን ነጩን ዱቄት ከገበያ አመጣች። ጋሼ ረድዋን የታመመች ሚስት ትተው በየበሩ እየዞሩ መርዙን እንድንተው ለመኑ። የእኔም በር ላይ ቆሙ፤ ፊታቸው ከስቶ ነበር።

«ውሃው ይንጠባጠባል ብዬህ አልነበር?» አሉኝ። «መርዙ ግን አይንጠባጠብም። አይጡ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል። ጉጉቷ አንዱን ስትበላ የአንዱን፣ ስድስቱን ስትበላ የስድስቱን ትይዛለች። መጨረሻ ላይ የቆመ ሁሉንም ይጠጣል። አደራህን።»

«እኔ አላደርገውም ጋሼ» አልኳቸው።

ሰማያዊው የመርዝ እህል ጣራዬ ውስጥ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

በሳምንቱ አንደኛዋ ጉጉት ከዋንዛው ሥር ክንፏን ዘርግታ ተገኘች። አጠገቧ ግማሹ የተበላ አይጥ ነበር፤ አፉ ዙሪያ ሰማያዊ ነው። ጋሼ ረድዋን አጎንብሰው አዩት። ከዚያ ቀና ብለው የእኔን ጣራ አዩ። ወፊቱን በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው ገቡ።

ሀረገወይን በደስታ ሰፈሩን ዞረች። «ጠሪዋ ከሞተች ተጠሪዋ ትድናለች!» አለች። እውነት መስሏት ነው፤ ለሕመምተኛዋ ብላም አንዲት ዶሮ አሳርዳ ሾርባ ላከች።

በዚያ ማምሻ ሊጠይቅ የሄደው ሰው ሁሉ ጸጥታውን ያዳምጥ ነበር። እትዬ ኡሙልኸይርም ያዳምጡ ነበር።

«ዛሬ አልጮኸችም?» አሉ።

«ተመስገን ነው» አለች ሀረገወይን።

«ምን ሆና ነው?»

ጋሼ ረድዋን ውሃ እያጠጧቸው ነበር። ስለ እንስሳ ሲጠየቁ ዋሽተው የማያውቁት ሰው «ቦታ ቀይራለች፤ ወደ ሶር ወንዝ በኩል ሄዳለች» አሉ።

«ሳትሰናበት?» አሉ እትዬ ኡሙልኸይር።

በአራተኛው ቀን አረፉ። ጀናዛቸውን ሸኘን፤ ድንኳኑ ፈረሰ፤ ሰው ወደየቤቱ ገባ። የምሳ ሚኒስቴርም በዚያው ተዘጋ። የቀረው ጉጉት ብቻውን ይጮህ ጀመር፤ ይጮህና መልስ እንደሚጠብቅ ትንሽ ዝም ይላል፤ እንደገና ይጮሃል።

«ወንዱ ነው ሴቷ የቀረችው?» ብላ ሀረገወይን ጠየቀቻቸው። ጋሼ ረድዋን ጥያቄ ሳይመልሱ ሲቀሩ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ጨው የጠየቀውን ጨው፣ ገመድ የጠየቀውን ገመድ ብቻ ይሰጡ ነበር። አይጥ ባንኮኒው ላይ ሲያልፍ ሚዛኑን ያነሱለታል እንጂ ቀና ብለው አያዩትም። ሀረገወይን ሆን ብላ አንዲት ትንሽ፣ ሰው የማትነካ እባብ ገድላ ሱቁ ደጃፍ ዘረጋቻትና ስድብ ጠበቀች። «ሳሙና ነው?» አሏት። እቤቴ እያለቀሰች መጣች። «ሰውየውን አብረን ቀብረነዋል» አለችኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ሰማያዊው የኔ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉና ጨዋቸውን መመዘን ቀጠሉ። የባሰ ነገር ቢናገሩኝ ይቀለኝ ነበር።

መርዙን ከጣራዬ አንድ በአንድ ለቅሜ አወጣሁ። አይጡ ተመልሶ መጣ፤ የበቆሎዬን እኩሌታና አንድ እግር ጫማዬን በላ። እኔ እንግዲህ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም፤ ዝም ብዬ አበላሁት።

ትናንት ጀምበር ስትጠልቅ ብቸኛው ጉጉት ዋንዛው ላይ ነበር። አንዲት አይጥ አጥሬ ላይ ብቅ አለች። መጥረጊያዬን አነሳሁ። ከአጥሩ ወዲያ ጋሼ ረድዋን በረንዳቸው ላይ እንደተቀመጡ አውቃለሁ፤ የወንበራቸው ሲጥ ሲጥ ይሰማኛል። መጥረጊያውን ዝቅ አደረግሁና ሰፈር እስኪሰማ ጮኽኩ።

«ሂጂ! የማን ምሳ እንደሆንሽ አውቀናል!»

አይጧ አለፈች። ወንበሩ ሲጥ ማለቱን አቆመ። ከዚያ አንድ ሳል ተሰማ።

«ምሳ አይደለችም» አለ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ድምፅ። «ጉጉት ቀን አይበላም። ራት ነው የሚባለው። ስንቴ ልንገርህ?»

አንድ ጊዜም ነግረውኝ አያውቁም። አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና «አልሰማሁም ነበር ጋሼ፤ እስቲ ከመጀመሪያው» አልኳቸው።