የጋሼ ክንፉ ሃያ አራተኛ ምክር

ኦክላንድ ውስጥ አንድ ስንዝር መሬት የቆፈረ ሐበሻ ሁሉ ከጀርባው አንድ አማካሪ ቆሞበታል። አማካሪው ዶማ አይዝም። እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ ያያል፤ ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከሌክ ሜሪት ሐይቅ ብዙ በማይርቀው የጋራ አትክልት ቦታ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር አቶ ክንፉ ናቸው።

ጋሼ ክንፉ በንጉሡ ጊዜ የእርሻ ኮሌጅ ገብተው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ወደ ሒሳብ ተዛወሩ፤ መዛወራቸውን ግን ሲናገሩ የሰማ የለም። የራሳቸው መደብ የላቸውም። ያላቸው ጥቁር ጃንጥላ፣ መስመሩ የማይጠፋ ሱሪ እና «እኔ ብሆን» የምትል ንግግር ናት።

የአንዱ መደብ ባለቤት ምሥጢር ምክራቸውን ሁሉ መዝግባለች። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው መዝገብ አያያዝ ነው፤ ሬድውድ ሲቲ ባለው መሥሪያ ቤቷም ሥራዋ ይኸው ነው። ባለቤቷ ብሩህ ኦክቶበር ላይ ካረፈ ወዲህ መደቡን ብቻዋን ይዛለች። የእሱን የአትክልት ደብተር ካቆመበት ቀጥላ ሁለት ዓምድ ጨመረችበት፤ «ምክር» እና «ውጤት»።

ፌብሩወሪ ላይ፣ መሬቱ በዝናብ ገና ሊጥ እንደሆነ፣ «እኔ ብሆን ዛሬ እቆፍራለሁ» አሏት። ቆፈረች። ሲደርቅ እያንዳንዱ ጓል ጡብ ሆነ። «እኔ ብሆን የቲማቲሙን ችግኝ አሁን ከቤት ወደ መደቡ አወጣዋለሁ።» አወጣችው። በአራተኛው ቀን ብርድ መትቶት ጠቆረ። «እኔ ብሆን ለቀንድ አውጣው ገብቶ እንዲሰጥም ቢራ በሳህን አስቀምጥለታለሁ።» ያን ሌሊት ከሳን ሆዜ ሳይቀር የተጠራ የሚመስል የቀንድ አውጣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ቢራውን ጠጥቶ፣ ጎመኑን አጣጥሞ ሄደ። ሃያ ሦስት ምክር፣ ሃያ ሦስት «ስህተት»። ለምን እንደምትሰማቸው እሷም አታውቅም። ምናልባት ብሩህ ይሰማቸው ስለነበር ይሆናል።

መደቡ መሀል ብሩህ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የተከለው ጌሾ አለ። ዘንድሮ ሥሩ ውሃ ቋጥሮ ከረመና ቅጠሉን አራገፈ፤ እንጨቱ ብቻ ቀረ። የቦታው ደንብ ደግሞ አጭር ነው። ማርች ላይ ኮሚቴው መደቡን ሁሉ እየዞረ የሚያይበት ኢንስፔክሽን አለ፤ የሞተ ተክል ይነቀላል።

በኢንስፔክሽኑ ጠዋት፣ በካፊያ፣ ጋሼ ክንፉ ጃንጥላቸውን ይዘው ጌሾው ፊት ቆሙ።

«አልሞተም» አሉ።

ምሥጢር ደብተሩን አውጥታ ሃያ አራተኛ ብላ መዘገበችው። እሳቸው አልሞተም ካሉ፣ በመዝገቧ መሠረት፣ አበቃለት።

የኮሚቴዋ ሃሴት፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ፣ ታብሌቷን ይዛ ደረሰች። እንጨቱን አንዴ አየችው። «ሶሪ ጋሼ፣ ኢትስ ዴድ።»

«አንቺ ነሽ ሐኪሙ?»

«ጋሼ፣ ዘ ሩልስ…»

«ሩል ለእኔ? እኔ በንጉሡ ጊዜ የእርሻ ኮሌጅ…»

ዝናቡ በረታ። ጋሼ ክንፉ ከጌሾ ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ማዳበሪያ፣ ከማዳበሪያ ወደ አንድ የሞቱ ፕሮፌሰር ተሻገሩ። አርባ ደቂቃ። የሃሴት ጥርስ መንቀጫቀጭ ጀመረ። «እሺ ጋሼ፣ በቃ! እስከ ኤፕሪል ይቆይ!» ብላ፣ በጠራ አማርኛ፣ ወደ መኪናዋ ሮጠች።

«ጋሼ፣ ምን ያደክምዎታል? ሞቷል እኮ» አለች ምሥጢር።

ክቡርነታቸው ጃንጥላውን አቀበሏትና በዚያ በተተኮሰ ሱሪ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ።

«ኧረ ሱሪዎ!»

በአውራ ጣታቸው ጥፍር የግንዱን ቅርፊት ፋቅ አደረጉት። ደረቅ። ዝቅ ብለው ደገሙት። ደረቅ። አፈሩን በእጃቸው ገፍተው፣ ከሥሩ ጥቂት ከፍ ብለው ፋቁ። ክር የምታህል አረንጓዴ ታየች።

«ብሩህ ነው ያሳየኝ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «እኔማ ኮሌጁን መች ጨረስኩት።»

ምሥጢር ጃንጥላውን ከእሳቸው በላይ ያዘችና ራሷ ዝናቡ ውስጥ ቀረች። ከሃያ አራተኛው ምክር ትይዩ «ትክክል» ብላ ጻፈች። ቀለሙ ወዲያው ፈሰሰ፤ እንደገና ደመቅ አድርጋ ጻፈችው።

ጋሼ ክንፉ ተነሡ። ጉልበታቸውን ለማራገፍ ሞክረው ጭቃውን ይበልጥ አሰራጩት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ብሆን» አሉ፣ ከጃንጥላው ጫፍ ውሃው እየተንዠቀዠቀ፣ «አሁኑኑ ውሃ አጠጣዋለሁ።»

ምሥጢር ሃያ አምስተኛውን መዘገበች። ውጤቱንም ሳትጠብቅ «ስህተት» ብላ ሞላችው።