ምንም እንዳያደርግ የተወሰነበት ቁልፍ

በአገር ላይ የሚወሰኑ ውሳኔዎች ሁሉ እኩል አይደሉም። ወንዝ እንዲጠለፍ ይወሰናል፣ ተራራ እንዲከለል ይወሰናል፤ ወንዙም ተራራውም ውሳኔውን ሳይሰሙ እንደ ነበሩ ይኖራሉ። ከመካነ ሰላም ወዲህ፣ ከአቀስታ ወዲያ፣ ለክብሯ ስል ስሟን በማልጠቅሳት የደጋ ከተማ የተወሰነው ውሳኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። በሙሉ ድምፅ ተወስኖ፣ በሙሉ ተፈጽሟል። የሚመለከተውም የአንድን ቁልፍ ጠባይ ነው፤ የኮምፒውተር ማብሪያና ማጥፊያ ቁልፍ።

ኮምፒውተሩ ወደ ከተማዋ የመሬት ጽሕፈት ቤት የመጣው ሚሊኒየሙ ከተከበረ በሦስተኛው ዓመት ነው። ወር ሙሉ ሠርቷል። ሆኖም አልተመረቀም ነበር፤ ያልተመረቀ ነገር ደግሞ ቢሠራም እንደ ሠራ አይቆጠርም። ድልድይ እንኳ ከብት ከተሻገረበት፣ ሙሽራ ካለፈበት በኋላ፣ ጎርፍ ሊወስደው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው የሚመረቀው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ አራጌ ይህን ያውቃሉ። አርቆ አሳቢነታቸው በየግምገማው የሚመሰገን ሰው ናቸው፤ ምስጋናውንም ሌላው እንዳይቸገር ብለው መጀመሪያ ራሳቸው ያቀርቡታል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን የሚመርቁ የክብር እንግዳ ከዞን ጠሩ።

የምረቃው ዕለት ረቡዕ ነበር። ጧት ጸሐፊዋ ራሄል የወይዘሮ ሀሊማን ደብዳቤ ትጽፍ ነበር። ሀሊማ ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቷ ነው። የባሏ ወንድም ሰዓድ ሦስት ጥማድ መሬቷን «የአባቴ ነው» ብሎ ሊያርስባት ተነሥቶ፣ ፍርድ ቤት ቆመዋል። ፍርድ ቤቱም መሬቱ በስሟ መመዝገቡን ከጽሕፈት ቤቱ አጽፋ እስከ ሰኞ እንድታመጣ፣ ካላመጣች መዝገቡ እንደሚዘጋ ነግሯታል። ዘሯ በጎታ፣ በሬዎቿ በበረት ሆነው ሰኞን ይጠብቃሉ። እርሷም ሌሊት ተነሥታ በእግሯ መጥታ፣ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

ራሄል መዝገቡን አይታ፣ አዋሳኞቹን ጽፋ፣ ማተምና ማኅተም ብቻ ሲቀር ሰዎች ቀይ ሪባን ይዘው ገቡ። ሪባኑን በጠረጴዛው ዙሪያ አዞሩና በኪቦርዱ ላይ አሳልፈው ከመስኮቱ ብረት ጋር አሰሩት።

«ቆዩማ፣ የጻፍኩትን ላስቀምጠው» አለች ራሄል።

«ሪባን ሳይቆረጥ እጅ አይገባም» አሉ አቶ አራጌ።

«አንድ ጊዜ ነካ ላድርግ፣ ጋሼ።»

«የክብር እንግዳው ሳይነኩ?»

የክብር እንግዳው ለሦስት ሰዓት ተጠርተው ነበር፤ ሰዓታቸውን አክብረው በስድስት ሰዓት ደረሱ። ቴክኖሎጂ ድህነትን ከሥሩ እንደሚነቅለው፣ ሥሩ የት እንደሆነ ግን ወደፊት በጥናት እንደሚመለስ አስረዱ። አቶ አራጌም ተነሡና «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ቤት በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ አይወጣም» ብለው ቃል ገቡ። ተጨበጨበ። ሪባኑ ተቆረጠ። ከሪባን ቀጥሎ ደግሞ አንድ ነገር መክፈት ወግ ነውና፣ እንግዳው የቦኖ ውኃ እንደሚከፍት ሰው ከጠረጴዛው በታች ወዳለው የኮምፒውተሩ ሣጥን ጎንበስ ብለው ፊት ለፊት ያገኙትን ክብ ቁልፍ ጫኑት።

«በራ?» አሉ እንግዳው።

«በርቷል፣ ክቡርነትዎ» አሉ አቶ አራጌ።

«ጥቁር ነው የሚያሳየኝ።»

«መጀመሪያ ጥቁር ነው። ኋላ ነው የሚነጣው።»

ለጥቁሩ ተጨበጨበ። ጧት በርቶ የዋለው ማሽን በምረቃው ጠፋ፤ ያልተቀመጠው የሀሊማ ደብዳቤም አብሮት ሄደ።

እንግዳው ጥብሳቸውን በልተው ከተሸኙ በኋላ ጥፋተኛ ተፈለገ። እንግዳው ጥፋተኛ ሊሆኑ አይችሉም፤ ከዞን ናቸው። አቶ አራጌም ሊሆኑ አይችሉም፤ ገምጋሚው እርሳቸው ናቸው። ራሄልን እንዳያደርጓት ሪባኑን ያሰሩት ሰዎች ምስክር ሆኑባቸው። የቀረው ቁልፉ ነበር።

«ይህ ቁልፍ ሲነካ ማሽኑን እንዲያጠፋ ማን ነው የወሰነው?» ብለው አቶ አራጌ ጠየቁ።

«ማንም አልወሰነም፣ ጋሼ። ከፋብሪካ ሲመጣ እንዲሁ ነው» አለች ራሄል።

«በየትኛው ስብሰባ?»

«ስብሰባ የለውም። ሰው ካልቀየረው በቀር ሲነካ ያጠፋል። ውስጥ ገብቶ መቀየር ይቻላል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አሁኑኑ ልቀይረውና ደብዳቤውንም እንደገና ልጻፈው።»

አቶ አራጌ ፊታቸው ጠቆረ። በዚህ ቤት ውስጥ፣ እርሳቸው ሳያውቁት፣ ቃለ ጉባኤ ሳይያዝበት፣ አባላት ሳይወያዩበት ወር ሙሉ ሲሠራ የኖረ ውሳኔ አለ ማለት ነው። ደግሞም ሁለት ደቂቃ የሚፈጅን ነገር በሁለት ደቂቃ መጨረስ ችኩልነት ነው። ጉዳዩ እስኪጣራ ማሽኑን ማንም እንዳይነካ አዘዙ።

ሀሊማ ከወንበሯ ተነሣች።

«እንግዲያስ በእጃችሁ ጻፉልኝ፣ ጌታዬ። አራት መስመር ነው አሉ።»

«እናታችን፣ ቅድም የተናገርኩትን ሰምተዋል። በእጅ የተጻፈ አይወጣም።»

«ቅድምማ እንግዳ ነበረ። አሁን ማን ያየናል?»

«መርሕ እንግዳ ሲሄድ አብሮ አይሄድም።»

«ወላሂ መሬቴ ሊሄድብኝ ነው። ቀጠሮዬ ሰኞ ነው።»

«አብሽሩ፣ እናታችን» አሉ አቶ አራጌ በርኅራኄ። «ኮሚቴ ተቋቁሟል።»

ኮሚቴው አምስት አባላት ነበሩት። ሰብሳቢው አቶ አራጌ፣ ጸሐፊው የመዝገብ ቤቱ አሕመዲን፣ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ እጅ የሚያወጡ ነበሩ። ራሄል አምስተኛ ሆና የገባችው ቁልፉን የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር አይከፋም ተብሎ ነው። ሐሙስን ለቁልፉ አመጣጥና ታሪካዊ ዳራ ሰጡት። ወደ ኩታበር ለልምድ ልውውጥ እንሂድ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ መኪናው ነዳጅ ስለሌለው በአድናቆት ታለፈ። ዓርብ ወደ ውሳኔ ሲገቡ ራሄል አራት ምርጫ እንዳለ ነገረቻቸው።

የመጀመሪያው «ሲነካ ይጥፋ» ነው። ጥፋተኛነቱ በእንግዳ ፊት የተረጋገጠ ስለሆነ ያለ ክርክር ወደቀ። ሁለተኛው «ሲነካ ያንቀላፋ» ነው። «በመንግሥት የሥራ ሰዓት?» አሉ አቶ አራጌ። እርሱም ወደቀ።

ሦስተኛው፣ ሲነካ «ልጥፋ ወይስ ልቆይ?» ብሎ መጀመሪያ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው።

«ማንን ነው የሚጠይቀው?» አለ አሕመዲን።

«የነካውን ሰው።»

«የነካው ኃላፊ ቢሆንስ?»

«ያው ኃላፊውን ይጠይቃል።»

አቶ አራጌ ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። በዚያ ቤት ኃላፊውን የጠየቀው የመጨረሻ ሰው፣ መኪና ከማይገባበት ቀበሌ ተመድቦ ጫማው ሁለት ጊዜ መቀየሩን ሁሉም አስታወሰ። ሦስተኛው ምርጫ ድምፅ እንኳ ሳይሰጥበት አለፈ።

«አራተኛው ሲነካ ምንም እንዳያደርግ ነው» አለች ራሄል።

«ምንም ማለት?»

«ምንም። ይነኩታል፣ እርሱ ዝም።»

«ስሕተትስ?»

«ምንም ካላደረገ ምን ይሳሳታል፣ ጋሼ?»

በሁለቱ ቀናት ውስጥ በዚያ ክፍል ያልታየ ብርሃን በፊቶች ላይ ታየ። «የማይሠራ አይሳሳትም» የሚለውን ተረት እንደ ስድብ የሚተርቱት አሉ። ኮሚቴው ግን እንደ መመሪያ ተቀበለው። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ቢባልም፣ የቁልፉ ሠሪ በብዙ ማይል ርቆ ስለሚኖር የሚሰማ አልነበረም። አምስት እጅ ወጣ። ውሳኔው ከሰኞ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እንዲጸና፣ ማሽኑም እስከዚያው እንዳይከፈት ተባለ። የሀሊማ ቀጠሮ ሰኞ ጧት ነው።

ከስብሰባው ሲወጡ ሀሊማ ሁለቱን ቀን ሙሉ ከተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ አገኟት።

«አለቀላችሁ?»

«አለቀ፣ አልሐምዱሊላህ» አለ አሕመዲን።

«ደብዳቤዬስ?»

«ስለ ደብዳቤው አልተነጋገርንም። ስለ ቁልፉ ነው የተወያየነው።»

«ታዲያ ይኼ በእጅህ የያዝከው ምንድን ነው? ስሜን ስትጠሩት በመስኮቱ ሰምቻለሁ።»

«ቃለ ጉባኤ ነው፣ እትዬ ሀሊማ።»

«በምን ጻፍከው?»

«በእጄ። ቃለ ጉባኤ እኮ ደብዳቤ አይደለም።»

ሀሊማ ወደ ኃላፊው ዞረች። «እንግዲያ ስሜ ካለበት ለእኔም አንዱን ስጡኝ፣ ጌታዬ። ሁለት ቀን የጠበቅኩት ምን እንደሆነ ልጆቼ ይወቁት።»

አቶ አራጌ በዚያ ሰሞን ስለ ግልጽነት ሥልጠና ወስደው ነበር፤ አበሉም ገና ከኪሳቸው አላለቀም። ቃለ ጉባኤው በካርቦን ሦስት ሆኖ ነው የተጻፈው፤ አንዱ ለባለጉዳይ ቢሰጥ በሪፖርት ላይ ያምራል። «ይሰጣቸው፣ ማኅተምም ይደረግበት» አሉ። አሕመዲን የመጀመሪያውን አንቀጽ አነበበላት። እንዲህ ይላል፦ «በወይዘሮ ሀሊማ ስም የተመዘገበውና በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ የሸኽ ከማሉዲን ማሳ፣ በምሥራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ የወል ግጦሽ የሚያዋስነው የሦስት ጥማድ መሬት ማረጋገጫ፣ መዝገብ ታይቶና ትክክለኛነቱ ተረጋግጦ በመጻፍ ላይ ሳለ በቁልፉ ጥፋት የጠፋ በመሆኑ…» ከዚያ በኋላ ያለው ሰባት ገጽ ስለ ቁልፉ ነው።

«አላህ ይስጥልኝ» አለች ሀሊማ፤ ወረቀቱን አጣጥፋ በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው።

ሰኞ ዳኛው ጽሑፉን አንድ ጊዜ አነበቡት። ሁለተኛ ጊዜ ሲያነቡት መሐረብ አውጥተው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ድምፃቸውን አስተካክለው፣ ማኅተምና አምስት ፊርማ ያለበት፣ መሬቱ በማን ስም እንደተመዘገበ ከነአዋሳኙ የሚናገር የመንግሥት ጽሑፍ ቀርቧል አሉ። ጽሕፈት ቤቱ ይህን እቃወማለሁ የሚል ከሆነ እስከ ዓርብ በጽሑፍ ያቅርብ፤ ካላቀረበ መሬቱ የሀሊማ ነው። ሰዓድ ሰባቱን ገጽ በሙሉ እንዲያየው ሰጥተውት፣ ስለ ማንቀላፋት የሚለው ላይ ሲደርስ መለሰላቸው።

ረቡዕ ሀሊማ ልታመሰግን መጣች። ይህ ስሕተቷ ነበር።

«ወረቀታችሁ ሠራልኝ፣ ጌታዬ። ዕድሜ ይስጣችሁ።»

«የትኛው ወረቀት?»

«ያ በእጅ የጻፋችሁት።»

አቶ አራጌ የዚያን ቀን ምሳ አልበሉም። ከጽሕፈት ቤታቸው በእጅ የተጻፈ ወረቀት ወጥቶ፣ ይባስ ብሎ ባለጉዳይ አስተናግዷል። ይህ በዞን ቢሰማስ? ዓርብ ከሰዓት በኋላ ራሄልን አጠገባቸው አስቀምጠው ለፍርድ ቤቱ የሚላከውን ተቃውሞ ያጽፏት ጀመር። ጽሑፉ፣ በእጅ የተጻፈው ቃለ ጉባኤ ለማስረጃነት ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ውድቅ ተደርጎ መዝገቡ ይዘጋልን ይላል። ሀሊማም ይህን ሰምታ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ፍርድ ቤቱ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል፤ አሕመዲን ሊሮጥ ኮቱን ለብሷል።

የቁልፉ ፋብሪካ፣ እንደሚታወቀው፣ በስብሰባው ላይ አልተገኘም። በዚህም ምክንያት ኮሚቴው ያልደረሰበት አንድ ጠባይ በቁልፉ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ነክተው ቢለቁት በተወሰነው መሠረት ምንም አያደርግም። ተጭነው አምስት እስኪቆጠር ቢይዙት ግን ምንም ቢወሰንበት፣ ማንንም ሳይጠይቅ ቀጥ ብሎ ያጠፋል። ራሄል ይህን ደሴ ስትሠለጥን ተምራዋለች። በስብሰባው አልተናገረችም፤ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ራሄል ወደ በሩ አየች። ከዚያ ግራ እጇን ከጠረጴዛው በታች አወረደች።

«ጋሼ፣ መጨረሻው ላይ ከሰላምታ ጋር ይባል?»

«ይባል እንጂ። ተቃወምን እንጂ ጨዋነታችንን አልተውንም።»

«ከማክበር ሰላምታ ጋር ነው ወይስ ከሰላምታ ጋር ብቻ?»

አቶ አራጌ ኮርኒሱን እያዩ አሰቡ። «ዳኛ ናቸው። ከማክበር ጋር አድርጊው» አሉ፤ ዓይናቸውን ሲመልሱ መስታወቱ ጠቁሯል።

«ምን ሆነ?»

«ጠፋ፣ ጋሼ።»

«አስቀምጠሽው ነበር?»

«ሰላምታውን እየጠበቅኩ ነበር።»

«መብራት ሄዶ ይሆናል።» ሁሉም ወደ ላይ አዩ። አምፖሉ ይበራል።

«ጊዜ የለንም» አለ አሕመዲን። «አራት መስመር ነች፤ በእጅ እንጻፋትና ልሩጥ።»

«አንተ ሰው» አሉ አቶ አራጌ፣ «በእጅ የተጻፈ ዋጋ የለውም የሚለውን በእጅ ጽፈን?»

አሕመዲን ኮቱን አወለቀ። ራሄልም ከጠረጴዛው በታች የማሽኑን ገመድ በእግሯ ከሶኬቱ ነቀለች። አቶ አራጌ ቀስ ብለው ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አሉና ክቡን ቁልፍ በጥርጣሬ ተመለከቱት።

«ራሄል፣ ነክተሽው ነበር?»

«ብነካውስ፣ ጋሼ? ሲነካ ምንም እንዳያደርግ ወስነን የለ።»

አቶ አራጌ በጣታቸው ነካ አደረጉት። ምንም አላደረገም። ደግመው ነኩት። ምንም።

«ወስነናል» አሉ ቀና እያሉ። ከዚህ በላይ ቁልፉን መጠርጠር ኮሚቴውን መጠርጠር ነው።

ቅዳሜ ጧት የሀሊማ በሬዎች ተጠመዱ። ጽሕፈት ቤቱም የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ለዞን ላከ። በአምስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ይገኛል፦ «ኮምፒውተሩ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የጠፋበት ምክንያት ያልታወቀ ሲሆን፣ የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ቁልፉን በተመለከተ ግን፣ በዕቅዱ መሠረት መቶ በመቶ ምንም አላደረገም።»