ገመዱ የሚያውቃት መኪና

«እኔ አዲስ ነገር አያምረኝም» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ቶሎ አትመኑት። ወይ መግዣው የለውም፣ ወይ ገዝቶ ደብቆታል። ሰው ሆኖ ከያዘው የተሻለ ነገር ሲያይ ልቡ ድንግጥ የማይል የለም። ልዩነቱ አንዳንዱ ድንጋጤውን ዋጥ አድርጎ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ አንዷ ደግሞ እንደኔ ሻሿን አጥብቃ መነሳቷ ነው።

ፈጣን መኪና ሲባል ለእናንተ መሬት ለመሬት የምትሄድ፣ ቀይ፣ ጣሪያ የሌላት ነገር ትታያችሁ ይሆናል። እንዲህ ያለችዋ እኛ ነገሌ ቦረና ብትመጣ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ሆዷን ዘርግፋ ትቀራለች። በእኛ አገር ፈጣን መኪና ማለት የጫት መኪና ናት። ባለሥልጣን ይዘገያል፣ ሙሽራ ይዘገያል፣ ዝናብማ ከነጭራሹ የሚቀርበት ዓመት አለ፤ የጫት መኪና ግን ከምሳ በፊት ትገባለች። ጠዋት ክብረ መንግሥት የተጫነው ጫት በጊዜ ካልደረሰ የቆላው ፀሐይ ጨርሶ ያጠወልገዋል። ቀድሞ የገባው ይሸጣል። ሁለተኛ የገባው ሰው እየተለመነ ይሸጣል። ከዚያ ወዲያ የገባውን የሚበላው ፍየል ነው፣ ፍየል ደግሞ አትከፍልም።

ስሜ ከድጃ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር ሱቅ ልክፈት ብሎ መጥቶ ነገሌ የቀረ ሰው ነው። ባለቤቴ የጫት ነጋዴ ነበር። አላህ ይዘንለትና ሲሞት፣ ከልጆቹ ሌላ ሁለት ነገር ተወልኝ፤ አንዲት ግራጫ ፒክአፕና ጉዮ የሚባል ሹፌር። ጉዮ የቦረና ሰው ነው። ከብት በቀለሙ ሲጠራ እየሰማ ስላደገ መኪናዋንም ዳለቲ አላት፣ ግራጫዋ ማለቱ ነው። ልጆቼ የሚበሉት፣ የሚለብሱት፣ የሚማሩት ዳለቲ ቀድማ ስትገባ ነው። እሷም አላሳፈረችኝም፣ ሁልጊዜ ትቀድም ነበር። የምትቀድመው ደግሞ በአብዛኛው የአክስቴን ልጅ ከድርን ነው። እሱም ጫት ነጋዴ ነው፣ መደባችን ጎን ለጎን ነው፣ መኪናውን ራሱ ይነዳል፣ ከኋላችንም አቧራ ለብሶ ይገባል። በዘመድነታችን ግን አንድም ቀን ሰላምታ አጓድለን አናውቅም።

ነገሌ መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ጊዜው የደርግ ነው፣ ድንበሩም ቅርብ ነው፣ የሚገባውም የሚወጣውም ይፈተሻል። መንገዱን አቋርጦ ገመድ ተወጥሯል፤ የገመዱ ጌታ ሃምሳ አለቃ ታደለ ነው። ዳለቲ ገና ሜዳው ላይ ሳለች ጉዮ ክላክሱን ሁለቴ ነካ ሲያደርገው ገመዱ መሬት ላይ ይተኛል። ይህን ስንት ዓመት አየሁ መሰላችሁ። አይቼ ግን ምንም አላሰብኩም። ሰው በር ሲከፈትለት ለምን ተከፈተልኝ ብሎ አይጨነቅም፣ የሚጨነቀው ሲዘጋበት ነው።

እንግዲህ በአንዱ ዓመት አንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሊወጣ ነው፣ መኪናዎቹንም በጨረታ ይሸጣል የሚል ወሬ መጣ። ሄጄ አየኋቸው። ከመካከላቸው የዳለቲ ታናሽ እህት ቆማለች። ያው ዓይነት ፒክአፕ ናት፣ ሞዴሏ ግን አዲስ። ነጭ ናት። ባለ ስድስት ሲሊንደር ናት። ሞተሯ እንደ ዳለቲ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ነው የሚነሳው። ሁለት የነዳጅ ታንከር አላት፣ መለዋወጫ ጎማዋ ከሆዷ ሥር ተሸሽጓል፣ ከወንበሯ ሥር የዕቃ ሣጥን አለ፣ በሮቿ ኪስ አላቸው፣ ኪሶቹም ክዳን አላቸው። እየዞርኩ እያንዳንዱን ከፍቼ ዘጋሁ። ልቤ ድንግጥ አለ ነው የምላችሁ።

ከድርም እዚያው ነበር። እሱም ይከፍታል፣ ይዘጋል። ወደ ገበያ ሲመለስ «ከእንግዲህ እትዬ ከድጃ አቧራ መብላት ይማሩ» ብሎ መናገሩን ለመስማት ብዙ ጆሮ አላስፈለገኝም። ወላሂ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አመነታ ነበር። ዳለቲ ትበቃኛለች፣ ይቅርብኝ እያልኩ ራሴን እያባበልኩ ነበር። ከድር ያንን ካለ በኋላ ግን ጉዳዩ የመኪና ጉዳይ መሆኑ ቀረ።

አንድ ችግር ነበረብኝ። በዚያን ጊዜ አንዲት መበለት ሁለት መኪና ይዛ ብትገኝ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስሟ ከከበርቴ ጋር ነው የሚነሳው። ስለዚህ ነጯ ከገባች ዳለቲ መውጣት አለባት። ይህን ለጉዮ ስነግረው መሪዋን ይዞ ተቀምጦ ነበር፣ ከመሪዋም አልወረደም።

«እትዬ፣ ዳለቲ ምን አጠፋች?» አለኝ።

«ምንም አላጠፋችም። አርጅታለች።»

«እኔም አርጅቻለሁ።»

«አንተን በጨረታ የሚሸጥ አልመጣም።»

ሳቅ አለ። ጉዮ ሲስቅ መስማማቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። «እኛ ዘንድ አዲስ ላም በረት ስትገባ የቆዩት ይወጓታል» አለኝ። መኪና ላም አይደለችም አልኩትና ጨረስኩ። ቆርጫለሁ ብያችኋለሁ፤ የቆረጠች ሴት ደግሞ ምክር የምትጠይቀው ሐሳቧን ጮክ ብላ ለመስማት ነው።

ጨረታውን አሸነፍኩ። ዳለቲን ማን የገዛት ይመስላችኋል? ከድር። ነጯን ባጣ ጊዜ አሮጌ መኪናውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። «መቼም ከኔዋ ትሻላለች» አለ። አዘንኩለት፣ መለዋወጫ ጎማም መረቅሁለት። ከኋላዬ ይከተለኝ ብዬ።

የመጀመሪያው ቀን እኔም ከጉዮ አጠገብ ተቀምጬ ሄድኩ። ነጯን ባያችኋት። ዳለቲ እያቃሰተች የምትወጣውን ዳገት ሳታስበው ወጣችው። መንገዳችን ላይ ካለችው ዋደራ አካባቢ ከድርን አገኘነውና አለፍነው። እጄን በመስኮት አውጥቼ አውለበለብኩለት። ያኮረፈው ጉዮ ሳይቀር ማርሽ ሲቀይር ከንፈሩ ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ። ነገሌ ገና ከሩቅ ስትታይ ጫቱን በሐሳቤ ሸጬ ጨርሼ ነበር።

ኬላው ጋ ጉዮ ክላክሱን ሁለቴ ነካው። ገመዱ ዝም። ደገመው። ገመዱ እንደተወጠረ ነው። ሃምሳ አለቃ ታደለ ከጥላው ሥር ተነስቶ፣ ቀበቶውን አስተካክሎ፣ በእርጋታ መጣ። አየን፣ ሰላም አለን፣ ከዚያ «ዕቃው ይውረድ» አለ።

ጫቱ ወረደ። የመጀመሪያው ታንከር በእንጨት ተለካ፣ ሁለተኛው ታንከርም ተለካ። ጎማው ከተሸሸገበት ወጣ። ወንበሩ ተነሳ፣ ሣጥኑ ተከፈተ። የበር ኪሶቹ ክዳን አንድ በአንድ ተገለጠ። የወደድኩላት ነገር ሁሉ ለካ የሚፈተሽ ቦታ ኖሯል። ከተማው ፊቴ ነው፣ ጫት የሚጠብቁት ደንበኞቼ መደቤ ጋ ቆመው ይታዩኛል፣ እነሱም ያዩኛል።

በዚህ መሐል ከኋላችን ክላክስ ሁለቴ ተሰማ። የዳለቲ ክላክስ። የሃምሳ አለቃው ሰዎች ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ ገመዱን ጣሉት። ከድር ግን ወዲያው አላለፈም። አጠገባችን ሲደርስ አቆመና አንገቱን ብቅ አደረገ።

«አካም፣ እትዬ ከድጃ? ናጋ?»

«ናጋ።»

«ልጆቹ ናጋ? ቤቱ ናጋ? ጤናዎስ? ሎን ናጋ?»

ናጋ ማለት ሰላም ነው፣ ሎን ማለት ደግሞ ከብት። ከብት እንደሌለኝ ያውቃል። ቢሆንም ሰላምታ ነውና ለእያንዳንዱ «ናጋ» እያልኩ መለስኩ። ጨርሶ ከሄደ በኋላ ሃምሳ አለቃውን ያዝኩት። ምን በደልኩ፣ የማታውቀኝ ሰው ነኝ ወይ አልኩት።

«አንቱን አውቃለሁ» አለኝ ሳይቆጣ። «ጉዮንም አውቃለሁ። ዳለቲን ድሮ ፈትሼ ፈትሼ ጨርሻታለሁ፤ ዕቃ የሚያስገባ ቀዳዳ የት የት እንዳላት ከአንቱ ይልቅ እኔ አውቃለሁ። ይቺን ግን አላውቃትም። የማላውቃትን አላሳልፍም።»

ምን ይባላል? እውነቱን ነው። ያን ቀን ሁለተኛ ገባሁ። በማግስቱም ሁለተኛ ገባሁ። ሰንበት ብሎ የጎረቤቶቼ ፍየሎች ወፈሩ፣ የልጆቼ ጫማ ደግሞ አፉን ከፈተ። የሚመክረኝ በዛ። ሽጫት ይላል አንዱ። ከድርን ለምኚና ዳለቲን መልሺ ትላለች ሌላዋ። «አልሸጥም» አልኩ። ሴትዮዋ እልኸኛ ናት ካላችሁ፣ ነኝ።

አንድ ቀን ጫት ሳልጭን፣ ነጯን ባዶዋን ይዤ ኬላው ጋ ሄድኩ። የአንድ ቀን ገበያ መተው ለእኔ ቀላል እንዳልነበረ ይታወቅልኝ። ሰሌን መሬት ላይ አነጠፍኩና «ሃምሳ አለቃ» አልኩት፣ «ዛሬ የሚጠወልግ ነገር የለኝም። እስክትጠግብ ፈትሻት።»

መጀመሪያ የምቀልድ መሰለው። ጉዮ ወንበሮቹን ነቅሎ ሰሌኑ ላይ ሲደረድር ግን ኮቱን አወለቀ። ተፈታች። ጎማው፣ ሣጥኑ፣ የበሮቹ ልባስ፣ የጣሪያው ጨርቅ ሳይቀር ሰሌኑ ላይ እንደ ጥሎሽ ተዘረጋ። ሃምሳ አለቃው እየተንበረከከ፣ እየተጋደመ፣ ይህ ምንድነው፣ ያ ወዴት ይሄዳል እያለ ጉዮን ይጠይቃል። ጉዮ ያስረዳዋል። በመጨረሻ የተገኘው ኮንትሮባንድ ከወንበር ሥር የወደቀ አንድ የፈረንጅ ማበጠሪያ ነው። እኔም እነሱም ሳቅን። መልሰው ሲገጥሟት ሃምሳ አለቃው ራሱ ብሎን ሲያጠብቅ ነበር።

በማግስቱ ጫት ጭነን መጣን። ጉዮ ክላክሱን ሁለቴ ነካ። ገመዱ አልወደቀም። ግን ላላ።

እንዲህ እንዲህ እያለ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ዝቅ እያለ፣ አንድ ቀን መሬት ነካ። ከዚያ በኋላ የነጯን ስድስት ሲሊንደር ማን ይችለዋል? ከድር ወደ አቧራው ተመለሰ። ልጆቼም ጫማ ቀየሩ። አሁን ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ፣ ቆራጥ ሴት አሸነፈች ብዬ በኩራት እዘጋው ነበር። ግን ሞዴል መች ያልቃል።

ዓመታት አለፉና መንግሥትም ቅይጥ ኢኮኖሚ ማለት ጀመረ፣ ሁለት መኪና መያዝም ከወንጀልነት ወጣ። ያኔ ከድር አንድ ቀን መደቤ ጋ መጥቶ ተቀመጠ። ዓይኑን ሳየው ገባኝ። ያንን ድንጋጤ የማላውቀው ይመስላችኋል?

«አዲስ አበባ አንድ መኪና አለች፣ እትዬ» አለኝ። «ከነጯም ወዲህ የወጣ ሞዴል ነው። ቱርቦ ናት። ምን ይመስልዎታል?»

«ስንት ታንከር አላት?»

«ሁለት። ከኋላም የተሸሸገ ሣጥን አላት፣ ቁልፍ ያለው።»

«ኬላውስ?» አልኩት። ይህን ጠይቄዋለሁ፣ አላህ ምስክሬ ነው።

ሳቀ። «ኬላው እኔን ያውቀኛል። ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አቁመውኝ ያውቃሉ?»

ለካ ገመዱ ሲወድቅ የኖረው ለእሱ መስሎታል። ያኔ እኔ የተፈተሽኩት ነጯ እንግዳ ስለሆነች ሳይሆን፣ እኔ እኔ ስለሆንኩ መስሎታል። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ያ «ሎን ናጋ» ትዝ አለኝ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ ግዛት እንጂ» አልኩት። «ዳለቲን ግን ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ።»

ዳለቲ ወደ ቤቷ ስትመለስ ጉዮ ዞር ዞር ብሎ አያት፣ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ፣ የነጯን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ የእሷን አነሳ። ለነጯ ሌላ ሹፌር ቀጠርኩ። እሱም ክላክሱን ሁለቴ ይነካል፣ ገመዱም ይወድቃል። ማን እንደሚነዳት የጠየቀ የለም።

ቱርቦዋ የመጣች ቀን በዳለቲ ከጉዮ አጠገብ ተቀምጬ ሄድኩ። ከዋደራ ወዲህ ከድር አለፈን። እንዴት ያለች ፈጣን ናት! እጁን በመስኮት አውጥቶ አውለበለበልን፣ አቧራዋም ቶሎ አልጠራልንም። እኛ ኬላው ጋ ስንደርስ የቱርቦዋ ወንበሮች መሬት ላይ ናቸው፣ ጫቱ በፀሐይ ላይ ነው፣ ሃምሳ አለቃ ታደለ በሆዱ ተኝቶ ያን ቁልፍ ያለውን ሣጥን ከሥር ያንኳኳል። ገመዱ ለእኛ ወድቋል።

«ጉዮ፣ አቁም» አልኩ።

ጉዮ አቆመ። አንገቴን ብቅ አደረግሁ።

«አካም፣ ከድር? ናጋ?»

ከድር ግንባሩን ጠረገ። «ናጋ።»

«ልጆቹ ናጋ? ቤቱ ናጋ? አክስቴስ? ሎን ናጋ?»

አንድ በአንድ መለሰልኝ። ምን ያድርግ፣ በእኛ አገር ሰላምታ ሳይመልሱ መናደድ አይቻልም።